ፈተና ያልፋል፣ ገበያ ላይ ዝም ይላል፦ የቋንቋ ኮርስ ችግርና መፍትሄ

አዳማ ላይ ለአማርኛ ተናጋሪ አዋቂዎች አፋን ኦሮሞ የሚያስተምር የማታ ኮርስ ልትከፍቱ ነው እንበል። ወይም ከፍታችሁ ነገሩ አልሄድ ብሏችኋል። ኮርስ ሲከሽፍ ሁሉም ጣቱን የሚቀስረው አስተማሪው ላይ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ዕቅዱን ነው። ብዙ ጊዜ ማን ለምን እንደሚማር ሳይጠየቅ መጽሐፍ ተመርጧል።

ምልክት፦ መጀመሪያ ክፍሉ ጢም ይላል፣ ወር ሳይሞላ ወንበሩ ባዶ ነው።

ምክንያት፦ ስትጠይቋቸው “ጊዜ አጣሁ” ይሏችኋል። ይሉኝታ ይዟቸው ነው። ለልጆች በተዘጋጀ መጽሐፍ የእንስሳት ስም እያስቆጠራችኋቸው፣ የባንክ ሠራተኛዋ ነገ ደንበኛ ሲመጣ ምን እንደምትል አታውቅም።

መፍትሄ፦ ሲመዘገቡ ጠይቁ። ከማን ጋር ነው የምታወሩት? የት? ምን ሲሏችሁ ነው መልስ የሚጠፋችሁ? ነርሷ “የት ላይ ነው የሚያምዎት?” ማለት ትፈልጋለች። የባጃጅ ሹፌሩ ዋጋና አቅጣጫ ይፈልጋል። የመጀመሪያዎቹን ትምህርቶች ከዚህ ቅዱ። ግቡንም “የአሁን ጊዜ ግስ ይማራሉ” ብላችሁ አትጻፉ፤ “ዋጋ ጠይቆ፣ ተከራክሮ መግዛት ይችላል” በሉ። የአውሮፓ ምክር ቤት በ2001 እ.ኤ.አ. ያወጣው ባለ 6 ደረጃ የቋንቋ ችሎታ ማዕቀፍም ደረጃዎቹን የሚገልጸው ተማሪው በቋንቋው ማድረግ በሚችለው ነገር ነው። ሰዋስው አይቀርም፣ ተከትሎ ይመጣል።

ምልክት፦ ግማሹ ያዛጋል፣ ግማሹ ግራ ገብቶታል።

ምክንያት፦ አዳማ ላይ ከባዱ ይሄ ነው። ከተማዋ ውስጥ ያደገ ሰው ቋንቋውን ከጎረቤት፣ ከገበያ፣ ከታክሲ ሲሰማ ነው የኖረው። “እሰማለሁ፣ መናገሩ ላይ ነው ችግሬ” ይላል፤ እውነቱን ነው። በቅርቡ ከጎንደር ተዛውሮ የመጣው ደግሞ ከሰላምታ አያልፍም። ሁለቱን አንድ ክፍል የሚያስገባቸው የጽሑፍ ፈተና ነው። ሁለቱም ቁቤ፣ ማለትም አፋን ኦሮሞ የሚጻፍበትን የላቲን ፊደል፣ ስለማያነቡ ሁለቱም ዜሮ ያመጣሉ፣ ሁለቱም “ጀማሪ” ይባላሉ።

መፍትሄ፦ መመደቢያው የቃል ይሁን። ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። መጀመሪያ ትእዛዝ ስጡት፤ በሩን ይዝጋ፣ ወንበሩን ይሳብ። ከዚያ ሥዕል አሳይታችሁ አስወሩት። የመስማትና የመናገር ውጤቱን ለየብቻ መዝግቡ። ለሚሰሙት ፊደሉን ቶሎ አስጨርሳችሁ ወደ ንግግር ግፏቸው። እነዚህ ሰዎች የሚይዛቸው እንዳይሳቅባቸው መፍራት ነው፤ ስለዚህ በየቃሉ አታርሟቸው፣ ተናግረው ይጨርሱ። ሁለት ክፍል ለመክፈት ገንዘቡ ከሌለስ? ጥንድ ጥንድ አድርጓቸው። ሰሚው መመሪያውን በአፋን ኦሮሞ ይናገር፣ አዲሱ ይፈጽም። ሁለቱም ሥራ ያገኛሉ።

ምልክት፦ ሲያነብ እንግሊዝኛ ያስመስለዋል፣ ወይም የተማረውን ቃል ሲናገር ሰው አይገባውም።

ምክንያት፦ ቁቤ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ የአፋን ኦሮሞ ይፋዊ ጽሕፈት ነው። ቅርጹ የላቲን ቢሆንም የድምፅ አሰጣጡ የራሱ ነው። ኤክስ ‹ጥ› ናት። ሲ ብቻዋን ‹ጭ›፣ ከኤች ጋር ስትሆን ‹ች›። ኪው ‹ቅ›። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ ድምፆቹ አፉ ላይ አሉ። በዋናነት የሚከብደው በቁቤ ዲ ከኤች ጋር የሚጻፈው ‹ዽ› ነው።

ሌላው ችግር ደብተሩ ላይ ተደብቋል። ተማሪው ቃሉን በአማርኛ ፊደል ይጽፈዋል። ፊደላችን ደግሞ መጥበቅና መላላትን አያሳይም። ‹መጥፎ› እና ‹ደጋ› በአፋን ኦሮሞ የሚለያዩት ‹ዳ› በመላላቷና በመጥበቋ ነው፤ በእኛ ፊደል ሁለቱም ‹በዳ› ናቸው። የአናባቢው መርዘምም እንዲሁ ይጠፋል።

መፍትሄ፦ ከመጀመሪያው ቀን በቁቤ ይጻፉ። የክፍለ ጊዜው መግቢያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ጥንድ ቃላት አሰሟቸው፣ የትኛው እንደሆነ ይለዩ። ቀድመው ካልሰሙት አይሉትም።

ምልክት፦ ፈተና ያልፋል፣ ገበያ ላይ ዝም ይላል።

ምክንያት፦ የፈተናችሁት ወረቀት ላይ ነው፤ ያጠናውም ለወረቀት ነው። ማብራሪያው በሙሉ በአማርኛ ከሆነ ደግሞ ባሰ።

መፍትሄ፦ ፖል ኔሽን የተባሉ የኒውዚላንድ ምሁር የኮርሱን ጊዜ እኩል አራት ቦታ መክፈል ይመክራሉ፦ ሰምቶና አንብቦ መረዳት፣ መናገርና መጻፍ፣ ቋንቋውን ራሱን ማጥናት፣ የሚያውቁትን ደግሞ ደጋግሞ ማፍጠን። እኛ ጋ ሦስተኛው ሌሎቹን ይበላቸዋል። የመጨረሻው ከነጭራሹ የለም። አንዱን ወሬ ለሦስት ሰው፣ በየጊዜው ባጠረ ሰዓት ማስወራት ወጪ የለውም። የማለፊያ ውጤቱም ግማሹ የቃል ይሁን፤ ያኔ አጠናናቸው ይለወጣል።

ምልክት፦ አስተማሪውን ይሰማል፣ ሌላ ሰው ሲያወራ ይጠፋበታል።

አዳማ መስቀለኛ ከተማ ናት። ከአርሲ፣ ከሐረርጌ፣ ከሸዋ የመጣ ሰው እያንዳንዱ የራሱ አነጋገር አለው። ተማሪው ግን የለመደው አንድ ድምፅ ነው። ፈቃድ ጠይቃችሁ የነጋዴ፣ የሹፌር፣ የእናቶችን ወሬ በስልክ ቅዱ፤ አጭር ይሁን፣ ጫጫታውንም አታጥፉት። ለመናገር አንዱን አነጋገር ያስተምሩ፣ ለመስማት ግን ሁሉንም ያስገቡ።