የመዋዕለ ሕፃናት ጥራት በአንድ ጠዋት እንዴት ይታያል? ለደሴና ለኮምቦልቻ ወላጆች

ልጄን መጀመሪያ ያስገባኋት ትምህርት ቤት በግድግዳው ሥዕል የማረከኝ ነበር። ቀጭኔው፣ ቀስተ ደመናው፣ ትልልቆቹ የእንግሊዝኛ ፊደላት ደስ ይሉ ነበር። አንድ ወር እንደተማረች ግን አንድ ነገር ይከነክነኝ ጀመር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ወደ ሽንት ቤት ትሮጣለች። የውሃ ኮዳዋም እንደሞላ ይመለሳል። የደሴ ብርድ ነው፣ አልጠማትም ብዬ አልፌው ነበር። አንድ ቀን አቅፌ ስጠይቃት፣ «እዚያ ጨለማ ነው፤ ትልልቆቹ ልጆች ደግሞ በሩን ይገፉታል» አለችኝ። የአራት ዓመት ልጅ ሽንቷ እንዳይመጣ ብላ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳትጠጣ ትውል ነበር።

የመዋዕለ ሕፃናት ጥራት የት የት እንደሚታይ የተማርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ለእህቴ ልጆችም ለጎረቤቶቼም ትምህርት ቤት ስናማርጥ የምንከተለውን አካሄድ በቅደም ተከተል እነሆ።

1. ልጆች ባሉበት ወቅት ይሂዱ

ብዙዎቻችን ትምህርት ቤት ፍለጋ የምንወጣው በነሐሴ፣ ዩኒፎርምና ደብተር ስንገዛ ነው። በነሐሴ የሚያዩት ግን አዲስ ቀለምና ባዶ ወንበር ብቻ ነው። ለመስከረም የሚያስመዘግቡ ከሆነ በሚያዝያ ወይም በግንቦት፣ ክፍሉ በልጆች ተሞልቶ እያለ ይሂዱ። አስቀድመው ደውለው «ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ማየት እፈልጋለሁ» ይበሉ። የመዋዕለ ሕፃናትን ጥራት መለካት ሥራቸው የሆነ ባለሙያዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ለሰዓታት ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ያያሉ።

መልሱን በጥሞና ይስሙ። መታወቂያ ቢጠይቁዎት፣ ብቻዎን ከልጆች ጋር እንዳይሆኑ አንድ ሠራተኛ ቢመድቡልዎት ደስ ይበልዎት፤ የልጅዎም ደኅንነት የሚጠበቀው እንዲሁ ነው። «ወላጅ ክፍል ውስጥ መግባት አይፈቀድም፣ ቢሮ እናስጎበኝዎታለን» ካሉዎት ግን እኔ ብሆን ወደሚቀጥለው ትምህርት ቤት እሄዳለሁ።

ጎረቤትዎ ልጁን በሦስት ዓመቱ አስገባ ተብሎም አይቸኮል። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለቅድመ አንደኛ ደረጃ 2 ዓመት መድቧል፤ አንደኛ ክፍል የሚገባው በ7 ዓመት ነው። ደህና ቦታ እስኪገኝ ጥቂት ወራት ከአያት ጋር መዋል ልጅን ከማንም ወደኋላ አያስቀረውም።

2. መንገዱን በልጁ እግር ይሂዱ

ደሴ ዳገትና ቁልቁለት ናት። ለእርስዎ ዐሥር ደቂቃ የሆነው መንገድ ለአጭር እግር ግማሽ ሰዓት ነው፤ በክረምት ጭቃው ይጨመርበታል። ልጁ በባጃጅ የሚመላለስ ከሆነ ጠዋት በሩ ላይ ቆመው ከአንድ ባጃጅ ስንት ልጅ እንደሚወርድ ይቁጠሩ። ለ3 ተሳፋሪ ከተሠራ ባጃጅ ስምንት ልጅ ሲወርድ እያየ ዝም የሚል ትምህርት ቤት ስለልጅ ደኅንነት ያለው አስተሳሰብ ያኔውኑ ይገባዎታል።

3. በሩ ላይ አሥራ አምስት ደቂቃ ይቁሙ

ልጁን ማን ይቀበለዋል? ዘበኛው ብቻ ነው ወይስ መምህርት አለች? በስሙ ትጠራዋለች? የሚያለቅስ ልጅ ሲመጣ ምን ትላለች? «ወንድ ልጅ አያለቅስም»፣ «ዝም ካላልክ ለጅብ እሰጥሃለሁ» የሚሉ አሉ። ጎንበስ ብላ እጁን ይዛ «እማዬ ናፈቀችህ? ምሳ ከበላን በኋላ ትመጣለች፤ ና፣ እስከዚያው ጃኬትህን አብረን እንስቀል» የምትልም አለች። ይህችኛዋ ሐዘኑን አልካደችበትም፤ እናቱ መቼ እንደምትመጣ ነገረችው፤ የሚሠራውም ሰጠችው። ይህን ሁሉ ያደረገችው ግማሽ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ነው።

በመውጫ ሰዓትም ልጁን ለማን እንደሚያስረክቡ ይጠይቁ። የተመዘገበ ሰው ስም ከሌለ፣ «የአክስቱ ልጅ ነኝ» ላለ ሁሉ የሚሰጡ ከሆነ፣ በጽሑፍ እንዲያዝ ይጠይቁ።

4. ክፍል ውስጥ ዝቅ ብለው ይቀመጡ፣ ድምፁንም ያዳምጡ

ከዚህ ጽሑፍ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የሚሞክሩ ከሆነ ይህን ይሞክሩ። በልጆቹ ወንበር ወይም በምንጣፉ ላይ ይቀመጡ። ከልጁ ቁመት ሲያዩት ክፍሉ ሌላ ነው፤ ሥዕሉ ጣሪያ አጠገብ ተሰቅሎ ይሆናል፣ መጫወቻው የማይደረስበት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ይሆናል። የፕላስቲክ ከረጢቱ ያልተቀደደ መጫወቻ ለጎብኚ የተቀመጠ ነው።

ከዚያ የሚናገረው ማን እንደሆነ ያዳምጡ። በብዙ ክፍሎች መምህርቷ «ሀ» ትላለች፣ አርባ ልጅ «ሀ» ይላል። ዜማው ደስ ይላል፤ እኛም ያደግንበት ነው። ፊደል በዜማ መቁጠር በራሱ ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ ጠዋቱ ሙሉ እሱ ብቻ ሲሆን ነው። ልጅ ቋንቋን የሚያበለጽገው እሱ የጀመረውን ወሬ አንድ ትልቅ ሰው ተቀብሎ ሲያስቀጥልለት ነው። ልጁ አንድ ነገር ይናገራል፣ መምህርቷ ትመልሳለች፣ ልጁ ደግሞ ይጨምራል። በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዲህ ያለ ምልልስ ስንት ጊዜ እንደሰሙ በወረቀት ላይ ይቁጠሩ።

አንድ ጊዜ በደሴ አንድ ግቢ ውስጥ ያየሁትን ልንገርዎት። ከዝናብ በኋላ አንድ ትንሽ ልጅ በእንጨት መሬቱን እየጫረ ከኩሬው ውሃ ያወርዳል። መምህርቷ አልተቆጣችውም፤ አጠገቡ ቁጢጥ ብላ «ውሃው ወዴት እየሄደ ነው?» አለችው። «ወደ ቦርከና» አላት። «ለምን ወደ ላይ፣ ወደ ጦሳ አይሄድም?» ልጁ ቀና ብሎ ተራራውን አየ፤ ውሃውን በእጁ ወደ ላይ ገፋው፤ ተመለሰበት። «ይደክመዋል» አለ። ሌሎች ሁለት ልጆች መጥተው ድንጋይ ደርድረው ይገድቡት ጀመር። በዚያች ዐሥር ደቂቃ ውስጥ ሳይንስ ነበር፣ ቋንቋ ነበር፣ ተባብሮ መሥራት ነበር። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እንላለን፤ በዚህ ዕድሜ ግን የምንፈልገው ማቡካቱን ራሱን ነው።

ስለዚህ የጨዋታ ሰዓቱን ይጠይቁ፣ በዓይንዎም ይዩ። ውድ ዕቃ አያስፈልግም። የታጠበ ቆርኪ ለመቁጠር፣ ባቄላና ሽምብራ ለመለየት፣ ጭቃ ለመድቦልቦል፣ የጣውላ ቁራጭ ለመካብ፣ አሮጌ ነጠላ ለዕቃ ዕቃ ጨዋታ ይበቃል። አራት ዓመት ያልሞላው ልጅ ገጽ ሙሉ ፊደል እየገለበጠ ሲውል ካዩ ግን ይጠይቁ። የእጁ አንጓና የጣቶቹ ጡንቻ ገና አልጠነከሩም፤ ጭቃው፣ መቀሱና ዶቃ መሰካቱ ነው ለእርሳስ የሚያዘጋጀው።

እንግሊዝኛውን በተመለከተ ሐሳቤን በግልጽ ልናገር። ብዙ ወላጅ የሚከፍለው ልጁ «አፕል» ሲል ለመስማት ነው። መዝሙርና ጥቂት ቃላት መልካም ናቸው። ሆኖም ልጅ ሆዱን ሲያመው፣ ጓደኛው ሲገፋው፣ የማያውቀው ነገር ሲገጥመው የሚናገርበት ቋንቋ አፉን የፈታበት ቋንቋ ነው። አማርኛ በመናገሩ የሚቀጣ ልጅ የሚማረው ዝምታን ነው።

5. ይቁጠሩ

በክፍሉ ስንት ልጅ፣ ስንት ትልቅ ሰው አለ? በአሜሪካ የሕፃናት ትምህርት ባለሙያዎች ማኅበር ለአራት ዓመት ልጆች የሚመክረው ለ10 ልጅ አንድ ትልቅ ሰው፣ በአንድ ክፍል ከ20 ያልበለጠ ልጅ ነው። እኛ ዘንድ ይህን ማግኘት ከባድ ነው፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት ደግሞ ይብሳል። ልዩነት የምታመጣው ረዳቷ ወይም ሞግዚቷ ናት፤ ክፍል ውስጥ ከልጆቹ ጋር ናት ወይስ ግቢ ስትጠርግ ትውላለች? አርባ ልጅ ያላት መምህርት ልጆቹን በቡድን ከፋፍላ በተራ የምታጫውት ከሆነ፣ ሃያ ልጅ ይዛ ወንበሯ ላይ ስልክ ከምትነካካው ትሻላለች።

6. ሽንት ቤቱንና የእጅ መታጠቢያውን ሳያዩ አይውጡ

ለእኔ ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ገብተው በሩን ዘግተው ይዩ፤ ብርሃን አለው? በሩን ልጅ ከውስጥ መክፈት ይችላል? ቀዳዳው ለትንሽ እግር ያሰጋል? ትልልቅ ተማሪዎች ይጋሩታል? ልጁ ለመሄድ ፈቃድ መጠየቅ ያለበት ስንት ጊዜ ነው? ልብሱ ላይ ቢያመልጠው ማን ይቀይርለታል፣ ምንስ ይሉታል? ይህን የመጨረሻውን ለሞግዚቷ ራሷ ያቅርቡት፤ ፊቷ ላይ የሚያዩት መልስ ከርዕሰ መምህሩ ማብራሪያ ይበልጣል።

ውሃ በሚጠፋበት ሳምንት ምን እንደሚያደርጉም ይጠይቁ። ሳሙናና ባለ ቧንቧ በርሜል ያዘጋጀ ትምህርት ቤት አስቦበታል ማለት ነው።

የአየሩ ነገርም አለ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወለሉ ሲሚንቶ ብቻ ከሆነና ልጆቹ መሬት ላይ የሚቀመጡ ከሆነ ምንጣፍ ወይም ሰሌን መኖር አለበት። እርጥብ ካልሲ የሚቀየርበት ቦታም ይጠይቁ። ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ስለምትል ጭንቀቱ ይገለበጣል፤ ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ስር እኩለ ቀን ላይ ቁጭ ብለው ይሞክሩት።

7. የምሳ ሰዓቱን ይዩ

የኛ ልጆች ምሳ ዕቃቸውን ከፍተው መጎራረስ ይወዳሉ። በአንድ ጠረጴዛ የመሐመድና የተክለ ማርያም ልጆች አብረው ይቀመጣሉ፤ የወሎ ወግ ነውና ደስ ይላል። መምህርቷ ግን የትኛው ልጅ ከጾመኛ ቤት እንደመጣ፣ ማን የማንን ሥጋ እንደማይበላ፣ ኦቾሎኒ ወይም እንቁላል የሚያሳክከው ማን እንደሆነ ማወቅ አለባት። በእርጋታ «የቤታችሁን ብሉ፤ ሙዙን ግን ተካፈሉ» የምትል መምህርት አይቻለሁ፤ አንዱም ልጅ አላፈረም። ምሳውን ያልጨረሰን ልጅ በግድ የሚያጎርሱ ከሆነ ግን ይናገሩ።

8. ስለ ቅጣት በቀጥታ ይጠይቁ

«ልጅ ሲረብሽ ምን ታደርጋላችሁ?» ይበሉ። ቁንጥጫ፣ ኩርኩም፣ ማንበርከክ፣ ጨለማ ክፍል መዝጋት «ቀላል ነገር» ተብሎ እንዳይታለፍ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችም ሆነ በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት የመጠበቅ መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ይህን አንቀጽ ጠቅሼ ስናገር የተቆጡኝ ወላጆች ነበሩ፤ «እኛም ተገርፈን ነው ሰው የሆንነው» ይላሉ። እኔ ደግሞ ስንቶቻችን ለጥያቄ እጅ ማንሳት እንደፈራን አስታውሳለሁ።

9. ስለ መምህራኑ ይጠይቁ

ለሕፃናት ትምህርት ሠልጥነዋል? እዚህ ስንት ዓመት ሆናቸው? በዓመት ሦስት መምህርት የሚቀያየርበት ክፍል ልጁ ሦስት ጊዜ እንደ አዲስ የሚለማመድበት ክፍል ነው። የሚቀያየሩበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝ ነው። ወርኃዊ ክፍያው ከፍ ብሎ መምህራኑ የማይበረክቱ ከሆነ ገንዘቡ የት እንደሚሄድ መጠየቅ ነውር የለበትም።

10. ካስገቡ በኋላም አይራቁ

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ለቅሶ የተለመደ ነው። የሚያሳስበው ሌላ ነው፤ ትቶት የነበረው የሌሊት ሽንት ሲመለስ፣ ምግብ ሲያስጠላው፣ የአንድ ሰው ስም ሲነሣ ዝም ሲል። «ዛሬ ምን ተማርክ?» ከማለት «ዛሬ ከማን ጋር ተጫወትክ? ማን አለቀሰ? ከዚያስ ሚስ ምን አለች?» ብለው ይጠይቁ። ብዙ ይሰማሉ።

በአሜሪካ ሚሺጋን፣ ኢፕሲላንቲ በምትባል ከተማ በ1962 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ጥናት የ123 ድሃ ቤተሰብ ልጆችን እስከ 40 ዓመታቸው ተከታትሏል። መዋዕለ ሕፃናቱን የተማሩት ካልተማሩት ይልቅ ትምህርታቸውን በብዛት ጨርሰዋል፣ የተሻለም ገቢ አግኝተዋል። እኔን የገረመኝ መምህራኑ በየሳምንቱ ወደ እያንዳንዱ ልጅ ቤት ይሄዱ የነበረ መሆኑ ነው። ከእኛ መምህራን ይህን መጠበቅ አይቻልም፤ መንገዱን እኛ ልናሳጥርላቸው ግን እንችላለን። በሳምንት አንድ ቀን አምስት ደቂቃ ቀድመው ደርሰው «ልጄ ዛሬ እንዴት ዋለ?» ይበሉ፤ ቤት ውስጥ የተፈጠረ ነገር ካለም ይንገሯት፤ አዲስ ሕፃን መወለዱን፣ አያት መታመማቸውን።

ኅዳር ሲገባ፣ የመስከረሙ ሽርጉድ ካለፈ በኋላ፣ አንድ ጠዋት እንደገና ይሂዱና ያንኑ ትንሽ ወንበር ይዘው ይቀመጡ። ከመውጣትዎ በፊት ሽንት ቤቱን ይዩት። የልጅዎ ኮዳ ማታ ባዶ ሆኖ መመለሱንም ማየት አይርሱ።