የቤዝመንት መስኮትን ከጎርፍና ከነፋስ ሲከላከሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዳማ ላይ ቤዝመንት ያለው ሕንፃ ያሠራ ሰው በአንድ መስኮት በዓመት ሁለት ጊዜ ይቸገራል። በበጋው ወራት ነፋሱ አቧራውን አዝሎ በፍሬሙ ክፍተት ሁሉ ይገባና ከታች ያለውን መጋዘን፣ ሱቅ ወይም ቢሮ ያለብሰዋል። ሰኔ ሲገባ ደግሞ ከተማዋን ከከበቧት ኮረብታዎች የሚወርደው ጎርፍ ከግቢ ግቢ እየተሻገረ ዝቅ ያለውን ቀዳዳ ይፈልጋል። ነፋሱ ቀላል እንዳልሆነ ለመረዳት በ2007 ዓ.ም. የተመረቀውንና 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለውን የአዳማ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫ ማየት ይበቃል፤ 102 ተርባይኖች እዚያ የቆሙት ያለ ምክንያት አይደለም።

የቤት ባለቤቶች አብዛኛውን ጊዜ ነፋሱን ለአሉሚኒየም ሠራተኛ፣ ውኃውን ለግንበኛ ከፋፍለው ይሰጣሉ። ብዙው ጥፋት የሚጀምረው ከዚህ አከፋፈል ነው፤ በጋውን ሙሉ በነፋስ ሲጓዝ የከረመው አቧራ መጨረሻ የሚያርፈው ክረምት ላይ ውኃው ሊወጣባቸው በሚገቡት ቀዳዳዎችና ቱቦዎች ውስጥ ነውና።

ውኃውን ከውስጥ ለማቆም መሞከር

የግድግዳው መርጠብ፣ የልስኑ ማበጥና የቀለሙ መላጥ የሚታየው ከውስጥ ስለሆነ ጥገናውም ከውስጥ ይጀመራል። አሮጌው ልስን ይፋቃል፣ አዲስ ይለሰናል፣ ውኃ ያግዳል የተባለ ቀለም ይቀባል፤ የተጠራው ባለሙያም «ጋሼ፣ ሲልኮን እናደርግበታለን፤ ከዚያ በኋላ ጠብ አይልም» ብሎ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ነገር ግን በውስጥ በኩል የተደረገ ልስንና ቀለም ውኃው ከጀርባው እየገፋው ስለሚኖር ውሎ አድሮ መነሣቱ አይቀርም። ነጭ ጨው የመሰለ ዱቄት በልስኑ ላይ ብቅ ማለት ከጀመረ ውኃው በግድግዳው ውስጥ አልፎ እየመጣ ነው ማለት ነው።

ውጭ ውኃ ከቆመ ጉዳዩ ከማሸጊያ አቅም በላይ ይሆናል። አንድ ሜትር ስፋትና 50 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው መስኮት እስከ ላይኛው ጫፉ ድረስ ውኃ ቢተኛበት በመስታወቱና በፍሬሙ ላይ የሚያርፈው ግፊት 125 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ተራ መስኮት የሚመታውን ዝናብ ወደ ውጭ እንዲያፈስ እንጂ እንደ ግድብ ውኃ እንዲይዝ ተደርጎ አልተሠራም። ስለዚህ ሥራው መጀመር ያለበት ከመስኮቱ ጥቂት ሜትሮች ርቆ፣ ግቢው ላይ ነው።

የግቢውን ተዳፋት አለመመልከት

ከሁሉም ስህተቶች ይበልጥ ዋጋ የሚያስከፍለው ይህ ይመስለኛል። ከግድግዳው ጀምሮ ባለው የሦስት ሜትር ርቀት ውስጥ መሬቱ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ወደ ውጭ መሄድ አለበት። ሕንፃውን በተረከቡበት ዓመት ተዳፋቱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ለመሠረቱና ለቤዝመንቱ ግድግዳ የተቆፈረው አፈር ተመልሶ ሲሞላ በየንብርብሩ ካልተጠቀጠቀ ከጊዜ በኋላ ይሰምጣል። በአዳማና በአካባቢዋ ከእሳተ ገሞራ አመድና ፑሚስ ከሚባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣ ልል አፈር በብዛት ስለሚገኝ፣ እንዲህ ያለው አፈር ደግሞ ውኃ ሲጠግብ ይበልጥ ስለሚወርድ፣ ወደ ውጭ ያዘነብል የነበረው መሬት ቀስ በቀስ ወደ ግድግዳው ያዘነብላል። ከላይ የሲሚንቶ ንጣፍ ካለ ደግሞ መስመጡ አይታይም፤ ንጣፉና ግድግዳው በሚገናኙበት መስመር ላይ ቀጭን ስንጥቅ ይከፈትና ውኃው በዚያ ይሰርጋል።

ይህን ለመመርመር ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም። ቀጥ ያለ ረጅም ሞራሌ ከግድግዳው ወደ ውጭ አጋድሞ ውኃ ልክ ማስቀመጥ፣ ወይም አንድ ባልዲ ውኃ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ደፍቶ ወዴት እንደሚሄድ መመልከት ይበቃል። ውኃው ወደ ግድግዳው ከተመለሰ ገረጋንቲ እየሞሉ፣ በ20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ንብርብር ውኃ እያርከፈከፉ መጠቅጠቅና ተዳፋቱን ማስተካከል ይገባል። እዚህ ላይ ሌላ ስህተት ይከተላል፦ አሞላሉ ከፍ ብሎ የመስኮቱን ደፍ እንዲነካ ማድረግ። የተሞላው አፈር ወይም ንጣፍ ከደፉ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ መቅረት አለበት፤ ይህን ማድረግ የማይቻል ከሆነ መስኮቱ የራሱ ጉድጓድ ያስፈልገዋል።

ከግቢው ውጭ ያለውም መታየት አለበት። ፊት ለፊት ያለው የአፈር መንገድ ኮብልስቶን ወይም አስፋልት ሲለብስ ከግቢው ከፍ ብሎ የሚያልቅበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ትናንት ውኃውን ወደ መንገድ ያፈስ የነበረ ግቢ ከዚያ በኋላ የመንገዱን ውኃ ተቀባይ ይሆናል። በግቢው በር ደፍ ላይ ዝቅተኛ የኮንክሪት ጉብታ ሠርቶ ከውስጥ በኩል የብረት ፍርግርግ የለበሰ ቦይ ማስቀመጥ መስኮቱ ላይ ከሚደረግ ከማንኛውም ሥራ ይልቅ ይጠቅማል።

የጣሪያውን ውኃ መርሳት

100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 3,000 ሊትር ውኃ ይሆናል። አሸንዳው ተሰብሮ ወይም መውረጃ ቱቦው ከመስኮቱ አጠገብ ተቆርጦ የቀረ ከሆነ ይህ ሁሉ የሚፈሰው እዚያው ነው። ቱቦውን ከግድግዳው አርቆ ተዳፋት ባለው ቦታ መልቀቅ፣ አሸንዳውንም ከዝናብ በፊት መጥረግ ይገባል፤ ከዚህ በላይ የሚያስጨንቅ ነገር የለውም።

መውጫ የሌለው የመስኮት ጉድጓድ

ከመሬት በታች የወረደ መስኮት ብርሃንና አየር እንዲያገኝ ከፊቱ ተቆፍሮ በብሎኬት ወይም በኮንክሪት የሚታጠር ጉድጓድ ይሠራለታል። ግንበኞች ጉድጓዱ እንዳይቆሽሽ ብለው ወለሉን በሲሚንቶ ይዘጉታል፤ እንዲህ የተዘጋ ጉድጓድ ደግሞ የውኃ ገንዳ ነው። ትክክለኛው አሠራር ወለሉን ከመስኮቱ ደፍ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማድረግ፣ የጉድጓዱን አጥር ከግቢው መሬት 10 ወይም 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ፣ ከታች ደግሞ በየሜትሩ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል የሚወርድ ባለ 110 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ቱቦ አስገብቶ ዙሪያውን በታጠበ ጠጠር መሙላት ነው።

ቱቦው የሚሄድበት ቦታ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነው። ቅርብ ስለሆነ ብቻ ከጣሪያው ውኃ መውረጃ ጋር የሚያገናኙት አሉ፤ በከባድ ዝናብ ግን ያ ቱቦ ስለሚሞላ የጣሪያው ውኃ ተመልሶ በጉድጓዱ ይወጣል። ከሴፕቲክ ታንክ ጋር ማገናኘት ከዚህም የከፋ ነው፤ ታንኩ ሲሞላ የሚመለሰው ዝናብ ብቻ አይደለምና። ቱቦው ለብቻው ወደ ዝቅተኛ ቦታ ወይም ወደ ጎዳና ዳር ቦይ መውረድ አለበት፤ ቦዩ ሞልቶ ሊመለስ የሚችል ከሆነም ውኃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው «ነን ሪተርን» የሚባለው ቫልቭ ይገጠምበታል። ውኃውን እዚያው አጠገብ ወደሚሰርግ ጉድጓድ መልቀቅ በሌላ ከተማ ሊሠራ ይችል ይሆናል፤ ልል የአዳማ አፈር ላይ ግን መሠረቱ ሥር ውኃ ማጠጣት ነው። ቤዝመንቱ ከመንገዱ ቦይ በታች ሆኖ በራሱ ተዳፋት የማይወጣ ሲሆን የመሰብሰቢያ ጉድጓድና ፓምፕ ግድ ይላል፤ በነጎድጓድ ዝናብ ጊዜ መብራት እንደሚጠፋ እያወቁ ፓምፑን ያለ ባትሪ ወይም ያለ ጄኔሬተር መተው ግን ከንቱ ወጪ ነው።

ጠጠሩን አንዴ ሞልቶ መርሳትም አይበጅም። ግንቦት መጨረሻ ላይ የአንዱን ጉድጓድ ጠጠር በአካፋ ገልጦ ያየ ሰው ላዩ ንጹሕ ሆኖ፣ ከሥሩ ግን አቧራው፣ የዛፉ ቅጠልና የፌስታሉ ቁራጭ ተጋግሮ በቱቦው አፍ ላይ ቅርፊት ሠርቶ ያገኘዋል። ከላይ በሲሚንቶ ጆንያ ወይም በድንጋይ የሚጫን ላስቲክ መደረቢያም መፍትሔ አይሆንም፤ የአዳማ ነፋስ በአንድ ሌሊት ገልብጦት ያድራል። በብሎን የታሰረና ተዳፋት ያለው ከፖሊካርቦኔት የተሠራ ክዳን ብርሃን ሳይከለክል አቧራውንም ዝናቡንም ይመልሳል፤ ጎኑ ግን ለአየር ክፍት መሆን አለበት።

ሲልኮንን የሁሉ ነገር መድኃኒት ማድረግ

ሲልኮን ጥሩ ማሸጊያ ነው፤ የሚበላሸው በአጠቃቀሙ ነው። አቧራ ባለበት ገጽ ላይ የተደረገ ሲልኮን ከአቧራው ጋር እንጂ ከግድግዳው ጋር አይያያዝም፤ ስለዚህ ቦታው ተጠርጎና በአልኮል ተወልውሎ ወዲያውኑ፣ ነፋስ በሌለበት ሰዓት መሠራት አለበት። አሮጌው ሲልኮን ሙሉ በሙሉ ሳይነሣ አዲሱን መደረብም ድካም ነው፤ በአሮጌ ሲልኮን ላይ ምንም ነገር፣ ሌላ ሲልኮንም ቢሆን፣ በደንብ አይጣበቅም። ሲከፈት ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ለመስታወት ይሆናል እንጂ ከሲሚንቶ ልስን ጋር ጥሩ አይያያዝም፣ ያልተቀባ ብረትንም ያዝጋል፤ ግድግዳና ፍሬም ለሚገናኙበት ኒውትራል የተባለውን መጠየቅ ይገባል። ክፍተቱ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ከሰፋ መጀመሪያ የስፖንጅ ገመድ ይገባበትና ሲልኮኑ ከላይ ይደረጋል።

ተንሸራታች የአሉሚኒየም መስኮት ላይ የሚፈጸመው ጥፋት ግን ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። የታችኛውን ሐዲድ ከውጭ ጎንበስ ብለው ቢያዩት ሁለት ወይም ሦስት ትናንሽ ቀዳዳዎች ይታያሉ። እነዚህ በሐዲዱ ውስጥ የገባው ዝናብ ወደ ውጭ እንዲፈስ ሆን ተብለው የተተዉ ናቸው። ብዙ ሠራተኛ «ነፋስ ያስገባሉ» ብሎ በሲልኮን ይደፍናቸዋል፤ ያልተደፈኑትንም በጋ ላይ የተጠራቀመው አቧራ በመጀመሪያው ዝናብ ጭቃ ሆኖ ይዘጋቸዋል፤ ውኃው መውጫ ሲያጣ ሐዲዱን ሞልቶ ወደ ውስጥ ይፈስሳል። ቀዳዳዎቹን በቀጭን ሽቦ ከፍቶ ሐዲዱን በብሩሽ መጥረግ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

የላሜራ መስኮት ላለው ሰው ጣጣው ዝገት ነው። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ሳይፋቁና አንቲረስት የሚባለውን የዝገት መከላከያ ቀለም ሳይቀቡ በስቱኮ መድፈን ዝገቱን ከእይታ ያርቀዋል እንጂ አያቆመውም።

ነፋሱ የሚገባበትን ሳያውቁ መድፈን

ነፋስ ሲገባ ካርቶን፣ ጨርቅና ፎም የትም ይወተፋል። አስቀድሞ ግን ነፋስ ባለበት ቀን ዕጣን አጭሶ በፍሬሙ ዙሪያ ቀስ እያሉ ማዞር ያስፈልጋል፤ ጭሱ ቀጥ ብሎ ከወጣ ቦታው ደህና ነው፣ ከተበተነ ወይም ወደ ጎን ከተጎተተ አየር የሚያልፈው በዚያ ነው። አየሩ በሚከፈተው ክንፍ ዙሪያ የሚገባ ከሆነ የደረቀውን ጎማ ወይም ያለቀውን የብሩሽ ጥብጣብ መቀየር ብቻ ሊበቃ ይችላል። በፍሬሙና በግድግዳው መካከል ከሆነ ከቆርቆሮ ተነፍቶ የሚያብጠው ፎም ይሞላል፤ ይህ ፎም ግን ፀሐይ ሲያገኘው ስለሚፈረካከስና በራሱም ውኃ ስለማያግድ ተቆርጦ በልስንና በሲልኮን መሸፈን አለበት። አዲስ መስኮት ለሚያሠራ ሰው ምክሬ፣ ነፋሱ በሚመጣበት ጎን ከተንሸራታች ይልቅ በማጠፊያ የሚከፈተውን እንዲመርጥ ነው፤ ሲዘጋ ጎማው ላይ ተጭኖ ስለሚቀመጥ አቧራን በተሻለ ያግዳል።

በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ሲነሣ የነበረው የመሬት መንቀጥቀጥ እስከ አዳማ ስለተሰማ የመስኮቱን ማዕዘኖች በዚያው አጋጣሚ ማየት አይከፋም፤ ስንጥቅ ቀድሞ የሚጀምረው ከማዕዘን ነው።

አየርን ጨርሶ ማፈን

ነፋስ መከልከልና አየር ማሳጣት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሁሉም መስኮት በታሸገበት ቤዝመንት ከሰውና ከወለል የሚወጣው እርጥበት መሄጃ ስለሚያጣ መስታወቱ ያልበዋል፣ ጥግ ጥጉ ይሻግታል፤ ባለቤቱም ከውጭ የገባ ውኃ መስሎት እንደገና ሲልኮን ይገዛል። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ከሰል ነው። በታሸገ ቤዝመንት ውስጥ ለቡና ከሰል ማያያዝ ወይም ጄኔሬተር ማስነሣት ሽታ በሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ቢያንስ በሁለት ተቃራኒ ጎኖች ወንፊት የለበሰ የማይዘጋ የአየር ቀዳዳ መተው፣ ሰው በሚያድርበት ክፍልም መስኮቱ ላይ የሚደረገው የሌባ መከላከያ ፍርግርግ ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚከፈት እንዲሆን ማድረግ ግዴታ ነው።

ሥራውን ሰኔ ላይ መጀመር

እርጥብ ግድግዳ ላይ ሲልኮን አይዝም፣ እርጥብ ልስን ላይ ቀለም አይቆይም። ቁፋሮውና ሙሊቱ በበጋ፣ የቱቦውና የሐዲዱ ጠረጋ ደግሞ ነፋሱ አቧራውን አራግፎ ከጨረሰ በኋላ ግንቦት ላይ ቢደረግ ይሻላል። ሥራው ሲያልቅ በጎማ ቱቦ መፈተሽ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ግን መስኮቱን በአንድ ጊዜ ከላይ እስከ ታች ያርሰውና የሚያፈሰውን ቦታ ሳያውቅ ይቀራል። አንድ ሰው ከውስጥ ባትሪ ይዞ ይቆማል፤ ሌላው ውኃውን መጀመሪያ ጉድጓዱ ላይ ብቻ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ በደፉ ላይ፣ ቀጥሎ በጎኖቹ፣ በመጨረሻም ከላይ ይለቃል። ውኃው ጉድጓዱ ላይ ሳለ ከውስጥ ከታየ ጥፋቱ የመውረጃው ነው፤ ደፉ ላይ ሲደርስ ከታየ የሐዲዱ ቀዳዳዎች ወይም የታችኛው ማሸጊያ ነው፤ ከላይ ሲለቀቅ ብቻ ከታየ ደግሞ መስኮቱን ትቶ ከበላዩ ያለውን ግድግዳ መመርመር ይገባል።