ሊኑክስ አፕግሬድ ከተደረገ በኋላ ፓርቲሽን አልከፈት ሲል፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

አዳማ ውስጥ ለጥገና ከሚመጡልን ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ ፒችትሪ ለተባለው የሂሳብ ፕሮግራም ሲባል ዊንዶውስ፣ ለቀሪው ሥራ ደግሞ ኡቡንቱ ወይም ሊኑክስ ሚንት ጎን ለጎን የተጫነባቸው ናቸው። ባለቤቱ ሊኑክሱን አፕግሬድ አድርጎ መልሶ ሲያስነሳው ሰነዶቹ ያሉበት ፓርቲሽን (የዲስኩ ክፍል) አልከፈት ይለዋል፤ ወዲያውም «ዲስኩ ሞቷል» ብሎ ይደመድማል። አፕግሬድ የሚቀይረው ግን ከርነሉን (የሊኑክሱን እምብርት)፣ ድራይቨሮቹንና ፓርቲሽን ማውንት የሚያደርጉትን፣ ማለትም ለሥራ የሚከፍቱትን ፕሮግራሞች እንጂ በዳታ ፓርቲሽን ላይ የተቀመጡትን ፋይሎች ስላልሆነ፣ በአብዛኛው ፋይሎቹ ባሉበት አሉ።

አስቀድሜ የማስጠነቅቀው አንድ ነገር አለ። ዲስኩን ፈትቶ ዊንዶውስ ባለው ሌላ ኮምፒውተር ላይ መሰካት የተለመደ ነው፤ ዊንዶውስ ግን ኤክስት4 የተባለውን የሊኑክስ ፋይል ሲስተም (ፋይሎች በዲስክ ላይ የሚደራጁበትን ሥርዓት) ስለማያውቀው፣ ዲስኩ ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ሳለ እንኳ ፎርማት እንዲደረግ ይጠይቃል። መልሱ ሁልጊዜ «ካንስል» ነው። መጀመሪያ ሊነበብ የሚገባው ሊኑክሱ ራሱ ያወጣው የስህተት መልእክት ነው፤ ከዚህ በታች ያለውም በዚያ መልእክት ዓይነት የተከፋፈለ ነው። ትእዛዞቹን በአነባበባቸው ጽፌያቸዋለሁ፤ ኪቦርድ ላይ ግን በላቲን ፊደል ይተየባሉ።

ምልክት፦ ኮምፒውተሩ አንድ ደቂቃ ተኩል ቆሞ ወደ ኢመርጀንሲ ሞድ ይገባል

በጥቁሩ ስክሪን ላይ «ኤ ስታርት ጆብ ኢዝ ረኒንግ» የሚል መስመርና ሰዓት ቆጣሪ ይታያል፤ ቆጣሪው 90 ሰከንድ ሲሞላ ኢመርጀንሲ ሞድ ውስጥ መግባትዎ ይነገርዎታል። መንስኤው ኢቲሲ በተባለው ፎልደር ውስጥ ያለው ኤፍኤስታብ የተባለ ፋይል ነው። ሊኑክሱን የሚያስነሳው ሲስተምዲ የተባለ ፕሮግራም በዚህ ፋይል የተመዘገበን ፓርቲሽን 90 ሰከንድ ጠብቆ ካጣው፣ በመስመሩ ላይ «ኖፌል» የሚል ፈቃድ ካልተጻፈ በስተቀር የማስነሳቱን ሥራ ያቆማል። ያጣው ስዋፕ (ለሜሞሪ ማገዣ የተመደበ የዲስክ ቦታ) ከሆነ ግን በአብዛኛው ጊዜውን ጠብቆ ያልፈዋል።

ፓርቲሽኑ እያለ የሚታጣው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ኤስዲኤ እና ኤስዲቢ የሚባሉት ስሞች ለዲስኮቹ የሚሰጡት ከርነሉ ባገኛቸው ቅደም ተከተል ስለሆነ፣ አዲሱ ከርነል ሁለተኛውን ዲስክ ቀድሞ ሲያገኘው ስማቸው ይለዋወጣል። ሁለት ዲስክ ያለው የአንድ ፎቶ ቤት ኮምፒውተር እንውሰድ፤ በኤፍኤስታብ ውስጥ «/ዴቭ/ኤስዲቢ1 /ፎቶ ኤክስት4 ዲፎልትስ 0 2» ተብሎ የተመዘገበው ፓርቲሽን ከአፕግሬዱ በኋላ ኤስዲኤ1 ሆኖ ይገኛል፣ መስመሩ ግን አሁንም የቀድሞውን ስም ይጠራል። ሁለተኛው ምክንያት ፓርቲሽኑ በመካከል ፎርማት ተደርጎ መለያ ቁጥሩ፣ ማለትም ዩዩአይዲው፣ መቀየሩ ነው።

ለመፍታት በኢመርጀንሲ ሞዱ ላይ የሩት (የዋናው አስተዳዳሪ) ፓስወርድ አስገብተው «ጆርናልሲቲኤል -ኤክስቢ» በሚለው ትእዛዝ የትኛው ማውንት እንደወደቀ ይመልከቱ። የሩት አካውንቱ ተቆልፏል የሚል መልስ ከመጣ፣ ያው ሥራ ከላይቭ ፍላሽ፣ ማለትም ሊኑክስ ሳይጫን ከሚነሳበት ፍላሽ፣ ይሠራል። ቀጥሎ «ኤልኤስቢኤልኬ -ኤፍ» ብለው የእያንዳንዱን ፓርቲሽን ፋይል ሲስተምና ዩዩአይዲ ያውጡና ከኤፍኤስታብ ጋር ፊደል በፊደል ያስተያዩ። ፋይሉ አልስተካከል ካለ የሩት ፓርቲሽኑ፣ ማለትም ሊኑክሱ ራሱ ያለበት፣ ለንባብ ብቻ ስለተከፈተ ነው፤ «ማውንት -ኦ ሪማውንት፣አርደብሊው /» ይከፍተዋል። የፎቶ ቤቱ መስመር ሲስተካከል በዲስኩ ስም ምትክ «ዩዩአይዲ=» ተብሎ ቁጥሩ ይገባል፤ «ዲፎልትስ» ከሚለውም ቀጥሎ ያለ ክፍተት በኮማ «ኖፌል» ይጨመራል። ኖፌል ለሩት ፓርቲሽን አይገባም፤ ለዳታ ፓርቲሽን ግን ባይኖር እንኳ ኮምፒውተሩ እንዲነሳ ስለሚያደርግ ሁልጊዜ እንዲጻፍ እመክራለሁ።

ሪስታርት ከማድረግዎ በፊት «ፋይንድኤምኤንቲ --ቬሪፋይ» የተባለው ትእዛዝ የአጻጻፍ ስህተት ካለ ያሳያል፤ ከዚያ «ሲስተምሲቲኤል ዴመን-ሪሎድ» እና «ማውንት -ኤ» ይከተላሉ። እነዚህን ዘሎ ሪስታርት ያደረገ ሰው በአንድ የተሳሳተ ፊደል ምክንያት እዚያው ኢመርጀንሲ ሞድ ላይ ሊመለስ ይችላል።

ምልክት፦ የዊንዶውሱ ፓርቲሽን አይከፈትም፣ ወይም ተከፍቶ መጻፍ ይከለክላል

መልእክቱ በአብዛኛው «ሮንግ ኤፍኤስ ታይፕ፣ ባድ ኦፕሽን፣ ባድ ሱፐርብሎክ» የሚል ስለሆነ ያስደነግጣል፤ ነገሩ ግን ከመልእክቱ ይቀላል። ዊንዶውስ ፋስት ስታርትአፕ የተባለው ባሕርይው ሲበራ «ሻት ዳውን» ቢባልም ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ከርነሉን በዲስክ ላይ አስቀምጦ ያንቀላፋል፣ ፓርቲሽኑንም በሥራ ላይ እንዳለ ይተወዋል። ዊንዶውሱ እየሠራ ሳለ መብራት ሲጠፋም ፓርቲሽኑ በትክክል እንዳልተዘጋ የሚያመለክት፣ «የቆሸሸ» የሚባል ምልክት ይቀርበታል።

ታዲያ እስከ ትናንት ሲከፈት የነበረው ዛሬ ለምን እንቢ ይላል? የቀድሞዎቹ ስሪቶች ኤንቲኤፍኤስ የተባለውን የዊንዶውስ ፋይል ሲስተም ለመክፈት ኤንቲኤፍኤስ-3ጂ በተባለው ድራይቨር ይጠቀሙ ነበር። በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣው ከርነል 5.15 ኤንቲኤፍኤስ3 የሚባል አዲስ ድራይቨር ከርነሉ ውስጥ ገባ፤ ይህኛው «የቆሸሸ» ምልክት ያለበትን ፓርቲሽን «ፎርስ» (በግድ ክፈት) ካልተባለ በስተቀር አይከፍትም። አፕግሬዱ ሥራውን ወደ አዲሱ ድራይቨር ካዞረው፣ ቀድሞ በዝምታ ይታለፍ የነበረው ጉድለት ይወጣል።

መፍትሄው ያለው ዊንዶውሱ ውስጥ ነው። በኮንትሮል ፓነል የፓወር ኦፕሽንስ ገጽ ላይ ፋስት ስታርትአፕን ያጥፉ፤ በአድሚኒስትሬተር ኮማንድ ፕሮምፕት «ቼክዲስክ ዲ፦ /ኤፍ» ብለው ፓርቲሽኑን ያስፈትሹና ሪስታርት አድርገው ወደ ሊኑክስ ይግቡ። ዊንዶውሱ ጭራሽ የማይነሳ ከሆነ «ኤንቲኤፍኤስፊክስ -ዲ» ምልክቱን ያነሳል፤ ይሁን እንጂ እንደ ቼክዲስክ መርምሮ አይጠግንም። የድርጅት ሂሳብ ያለበትን ፓርቲሽን ዊንዶውሱ አንቀላፍቶ ሳለ በ«ፎርስ» ከፍቶ መጻፍን ፈጽሞ አልመክርም፤ ዊንዶውሱ ሲነቃ የቀድሞውን ሁኔታ ይዞ ስለሚቀጥል ፒችትሪው የሚያነበው ዳታ ሊበላሽ ይችላል።

ምልክት፦ «አንኖውን ፋይልሲስተም ታይፕ»

ከርነሉ የዚያን ፋይል ሲስተም ሞጁል (ፋይል ሲስተሙን የሚያነብበትን ድራይቨር) አላገኘም ማለት ነው። በአንዳንድ የሊኑክስ ዓይነቶች አፕግሬዱ የአሮጌውን ከርነል ሞጁሎች ስለሚያጠፋ፣ ሪስታርት ሳያደርጉ ፍላሽ የሚሰኩ ሰዎች ይህን መልእክት ያያሉ፤ ሪስታርት ይፈታዋል። በአፕግሬዱ መካከል መብራት ጠፍቶ ከሆነ ደግሞ ኮምፒውተሩ ሲነሳ በሚመጣው የግረብ ሜኑ ውስጥ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ከሚለው የቀድሞውን ከርነል መርጠው ይነሱ፤ የቡት ፓርቲሽኑ አለመሙላቱን በ«ዲኤፍ -ኤች» ያረጋግጡ፤ ከዚያ «ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ» እና «አፕዴት-ኢኒትራምኤፍኤስ -ዩ -ኬ ኦል» ብለው በእንጥልጥል የቀረውን ያስጨርሱ። ራይዘርኤፍኤስ የተባለው የቆየ ፋይል ሲስተም ያለበት ፓርቲሽን ያላችሁ ግን፣ ይህ ፋይል ሲስተም ከስሪት 6.13 ጀምሮ ከከርነሉ ስለተወገደ፣ በአሮጌ ከርነል ከፍታችሁ ፋይሎቹን ወደ ኤክስት4 ማዛወር አለባችሁ።

ምልክት፦ «ኢንፑት/አውትፑት ኤረር»

ዲስኩ ራሱ መጠርጠር ያለበት እዚህ ላይ ነው። በ«ስማርትሲቲኤል -ኤ» የዲስኩን ጤና ይመልከቱ፤ የተበላሹ ሴክተሮች (የዲስኩ ትንንሽ ክፍሎች) ቁጥር ካለና እየጨመረ ከሄደ፣ ፋይል ሲስተም የሚጠግነውን ኤፍኤስቼክን ከማስኬድ በፊት ዲዲሬስኪው በተባለው የመቅጃ ፕሮግራም ሙሉውን ዲስክ ወደ ሌላ ዲስክ ይቅዱ፣ ጥገናውንም በቅጂው ላይ ያካሂዱ። ኤፍኤስቼክ ማውንት በሆነ ፓርቲሽን ላይ አይሠራም፤ ስለዚህ ብዙዎች ከላይቭ ፍላሽ ያስኬዱታል። ፍላሹ ያረጀ ስሪት ከሆነ ግን በአዲስ ሲስተም ፎርማት የተደረገን ኤክስት4 «አንሰፖርትድ ፊቸር» ብሎ ይመልሰዋል፤ ይህም የፕሮግራሙ ማርጀት እንጂ የፓርቲሽኑ ብልሽት ስላልሆነ፣ ፍላሹን ከተጫነው ሲስተም ጋር እኩል በሆነ ወይም ከእርሱ በበለጠ አዲስ ስሪት ተክቶ እንደገና ማስኬድ ነው።