ፓይተን የወላጁን ኮንስትራክተር ሳይጠራ ሲቀር

ድሬዳዋ ቀፊራ ላለ የጨርቅ ሱቅ የዕቃ መመዝገቢያ በፓይተን ስሠራ 3 ቀን የበላኝ ስህተት ነው። «ዕቃ» የሚለው ክላስ (ዕቃዎች የሚፈጠሩበት ንድፍ) ዋጋ ይይዛል። ልጁ «ጨርቅ» ከወላጁ ከ«ዕቃ» ይወርስና በራሱ ኢኒት (ኮንስትራክተሩ፣ ማለትም ዕቃው ሲፈጠር የሚሠራው ኮድ) ሜትር ይጨምራል። ዋጋውን ስጠይቅ ግን አትሪቢዩት ኤረር፦ «ዋጋ» የሚባል የለም።

የፊደል ግድፈት ፈለግሁ። ፓይተንን እንደገና ጫንኩ። ክላሱ ላይ «ዋጋ = 0» ብዬ ጻፍኩ። ይሄ ባሰ፤ ስህተቱ ጠፍቶ የድሪያው ጨርቅ ሁሉ በ0 ብር ተመዘገበ።

መጨረሻ ላይ የወላጁ ኢኒት ውስጥ ፕሪንት አስገባሁ። ምንም አልወጣም። ለካ ጭራሽ አልተጠራም! የለመድኩት ጃቫን ነው፤ እዚያ ሱፐርን (የወላጁን ኮንስትራክተር መጥሪያ) ካልጻፍክ ኮምፓይለሩ ባዶውን፣ ምንም ዋጋ የማያሳልፈውን ጥሪ ራሱ ያስገባልሃል። ፓይተን ግን ልጁ የራሱ ኢኒት ካለው የወላጁን በራሱ አይጠራም።

የልጁ ኢኒት መጀመሪያ ላይ ሱፐርን ጠርቼ ዋጋውን ለወላጁ ኢኒት አሳለፍኩ። አንድ መስመር ናት። ድሪያው ወዲያው በዋጋው ወጣ።