ወሎ ላለ ቤተሰብ ተሳቢ የሚጎትት ያገለገለ ፒካፕ ከውጭ ሆናችሁ ስትገዙ

ከዳላስም ከሪያድም ከፍራንክፈርትም የሚመጣው ጥያቄ አንድ አይነት ነው፣ "ወንድሜ ደሴ ላይ ፒካፕ አግኝቻለሁ እያለኝ ነው፣ ተሳቢ አስሮ ውሃም ብሎኬትም እህልም ያመላልስበታል፣ ይሄ ሞዴል ይጎትታል ወይ?" መጎተቱንማ ይጎትታል፣ ደህና የናፍጣ ሞተር ያለው ፒካፕ ሜዳ ላይ ሁለት ቶን ቢያስሩበት አይከብደውም። ወሎ ግን ሜዳው ጥቂት ነው። ከደሴ በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ ያለውን መንገድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ቁልቁለቱ 600 ሜትር አካባቢ ነው፣ ጠመዝማዛ፣ ከፊት አይሱዙ ከኋላ የጭነት መኪና። ስለዚህ ለወንድማችሁ መመለስ ያለባችሁ ጥያቄ "ተጭኖ ሲወርድ ይቆማል ወይ" የሚለው ነው፣ ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

መጀመሪያ መኪናውን ተዉትና ጭነቱን ጠይቁ። "ብዙ አይደለም፣ ትንሽ ውሃ ነው" ይላችኋል። ውሃ አንድ ሊትሩ አንድ ኪሎ ነው፣ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ ብቻውን ሁለት ቶን ነው፣ የተሳቢው ብረትና ጎማ ሲጨመር ሁለት ቶን ተኩል ያልፋል። ከቆቦ ማሽላ ከሆነ 20 ኩንታል ሁለት ቶን ነው፣ ሲሚንቶ ከሆነ 50 ከረጢት 25 ኩንታል ማለት ነው። ይህን በወረቀት ጻፉት። ከዛ በኋላ ነው የመኪናው ቁጥር የሚነበበው፣ አብዛኞቹ ባለ አንድ ቶን ፒካፖች ሃይሉክስም ዲማክስም ሬንጀርም እንደ ሞዴላቸውና ሞተራቸው ከ2,500 እስከ 3,500 ኪሎ ይጎትታሉ ተብሎ ተጽፎላቸዋል፣ ላንድክሩዘር 79 ደሞ 3,500። ግን ይህ ቁጥር ተሳቢው የራሱ ፍሬን ሲኖረው ብቻ ነው! ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከሆነ ለአብዛኞቹ የተፈቀደው 750 ኪሎ ነው፣ በቃ። እኛ አገር ሠፈር ውስጥ ብየዳ ቤት የሚሠራው ተሳቢ ደግሞ አብዛኛው ፍሬን የለውም፣ ሁለት ጎማ አንድ አክስል አንድ መያዣ ነው፣ ያንን ሁለት ቶን ውሃ ሞልቶ ሐረጎን መውረድ ማለት መኪናው ላይ ያለው የፍሬን ሸራ የሁለቱንም ክብደት ብቻውን ይሸከም ማለት ነው። መጀመሪያ ይሸታል፣ ከዛ ይጨሳል፣ የፍሬን ዘይቱ አሮጌ ከሆነ ሲፈላ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይገባል። ስለዚህ ተሳቢ ሲገፋ በራሱ የሚይዝ ፍሬን ያለው ይሁን፣ ካልተገኘ ተሳቢው ከነጭነቱ 750 ኪሎ እንዳያልፍ ጭነቱን በብዙ ጉዞ ይክፈሉት፣ ናፍጣ ይቃጠል፣ የሰው ነፍስ ይበልጣል።

ሌላም አለ፣ ተሳቢው ሲታሰር ከክብደቱ አስር በመቶ ገደማ ጋንቾው (ተሳቢው የሚታሰርበት የመኪናው መጎተቻ) ላይ ማረፍ አለበት፣ ማለትም 2,500 ኪሎ ተሳቢ 250 ኪሎ የመኪናውን ጭራ ይጫናል፣ እሱ ከካሶኒው ጭነት ላይ ይቀነሳል። ልጆቹ ካሶኒው ላይ ኩንታል ደርድረው እነሱም ከላይ ተቀምጠው ተሳቢ ሲያስሩ የፊት ጎማው ይቀልና መሪው አይታዘዝም። ጭነቱ ወደ ተሳቢው ኋላ ከበዛ ደሞ ተሳቢው ግራ ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፣ ፍጥነት ሲጨምር ይብስበታል።

ሞተር ላይ ከፍታን አትርሱ። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ነው፣ ወደ ደላንታና መቅደላ ደጋው ከ3,000 የሚያልፍ ቦታ አለ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነም ጣርማበርን ከ3,000 ሜትር በላይ ነው የሚሻገረው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል፣ ደሴ ላይ ሩብ ያህሉ የለም ማለት ነው። የላንድክሩዘሩ ስድስት ሲሊንደር 4.2 ሊትር ሞተር ያለ ቱርቦ 130 ፈረስ አካባቢ ነው፣ እዚያ ላይ መቶ አይሞላም፣ ግን እንደ ድንጋይ ጠንካራ ነው ማንኛውም መካኒክ ያውቀዋል፣ በቀስታ ይወጣል እንጂ አይጥላችሁም። ቱርቦ ያለው ሃይሉክስ ወይ ዲማክስ ዳገቱን በሸጋ ይወጣዋል፣ ግን ኢንጀክተሩና ናፍጣ ፓምፑ ንጹህ ነዳጅ ይፈልጋል፣ በበርሚል ተቀምጦ ውሃ የገባበት ናፍጣ ይገድለዋል። የኔ ምርጫ ከባድ ጭነት በየቀኑ ዳገት ከሆነ ቱርቦ ያለው ባለ 3 ሊትር፣ ገጠር ውስጥ ቀስ ብሎ የሚሠራ ከሆነ ግን ላንድክሩዘሩ ነው። ደብል ጋቢና ያምራል፣ ለሥራ ግን ነጠላ ጋቢናው ካሶኒው ይረዝማል ሰውም አይደራረብበትም።

አሁን ፍተሻው። ፎቶ አትቀበሉ፣ ፎቶ ላይ ሁሉም መኪና ሸጋ ነው። ቪዲዮ ጥሪ ይሁን፣ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ፣ ሻጩ "አሙቄ ጠብቄያችኋለሁ" ካለ በማግስቱ ይመለሱ። ወንድማችሁ መዳፉን ኮፈኑ ላይ ያድርግና ቅዝቃዜውን ይንገራችሁ፣ ከዛ ያስነሳው፣ ጭሱን ከኋላ አሳዩኝ በሉት፣ ነጭ ጭስ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልጠፋ፣ ወይ ሰማያዊ ጭስ ከሆነ ገንዘባችሁን ያዙ። የሞተር ዘይት መሙያውን ክዳን ይክፈተውና ሞተሩ እየሠራ ክዳኑን አላልቶ ያስቀምጠው፣ ጭስ በኃይል እየገፋ ክዳኑን የሚያስዘልለው ከሆነ ፒስተኑ ደክሟል። ሞተሩ ሳይሞቅ ራዲያተሩን ከፍተው ውሃው ላይ አረፋ እየወጣ ከሆነ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ችግር አለበት፣ ይህ ደሞ ሲጎትት ዳገት ላይ ነው የሚፈነዳው። ሲሞቅ ግን የራዲያተር ክዳን እንዳይነኩ፣ ያቃጥላል።

ፍሪሲዮኑን (ክላቹን) ደግሞ እንዲህ ይሞክሩት፣ ሜዳ ላይ የእጅ ፍሬን ጥብቅ ብሎ፣ ማንም ከፊት ሳይቆም፣ ሶስተኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ ይልቀቀው። ሞተሩ ወዲያው ከጠፋ ፍሪሲዮኑ ደህና ነው፣ ሳይጠፋ ዝም ብሎ እየጮኸ ከቆየ ይንሸራተታል፣ ተሳቢ ታስሮበት ዳገት ላይ አንድ ሳምንትም አይቆይም። ከዛ ከስር ይግባ፣ ባትሪ ይዞ፣ ሻንሲውን (የመኪናውን የብረት አጽም) ባሌስትራው (ጭነቱን የሚሸከመው የብረት ስፕሪንግ) የተያያዘበት ቦታና ከኋላ ጋንቾው ያለበትን ያሳያችሁ፣ ስንጥቅ ወይ የብየዳ ጠባሳ ወይ አዲስ ጥቁር ቀለም እዚያ ቦታ ላይ ብቻ ከተቀባ ተጎትቶበታል ተሰብሯል ተበይዷል ማለት ነው። ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አትመኑ፣ የፔዳሉን ጎማና የመሪውን መበላት እዩ። እና መካኒኩ የሻጩ ወዳጅ አይሁን፣ ከኮምቦልቻ ሻጭ ከሆነ ከደሴ መካኒክ ውሰዱ፣ ክፍያውን ከእናንተ እንጂ ከሻጭ ወይ ከደላላ እንዳይቀበል።

ቤት ያለውን ፒካፕ ማሻሻል ለምትፈልጉ ደሞ፣ ሰው ቀድሞ የሚያደርገው ባሌስትራ መደረብ ነው። ባሌስትራ ሲጨመር ጭራው ቀና ይላል፣ የመጎተት አቅም ግን አንድ ኪሎም አልጨመረም፣ ፍሬኑ ያው ነው፣ ኩሽኔታው (የጎማው ቤሪንግ) ያው ነው፣ ሻንሲው ያው ነው። ብሩን በዚህ ቅደም ተከተል አውጡት፣ የፍሬን ሸራና የፍሬን ዘይት በአዲስ፣ ራዲያተር ማስጠረግ፣ ፍሪሲዮን፣ ለከባድ ጭነት የተሠራ ጎማ አራቱም ስኮርታውም፣ ከዛ በኋላ ባሌስትራ። ጋንቾው በብሎን ሻንሲው ላይ ይታሰር እንጂ ፓራውልቱ (የኋላ መከላከያው) ላይ በብየዳ አይለጠፍ። ከአሜሪካ የጋንቾውን ኳስ፣ ማለትም የተሳቢው መያዣ የሚገጥምበትን ድቡልቡል ብረት፣ በሻንጣ የምትልኩ ይህን ልብ በሉ፣ የአሜሪካው ባለ 2 ኢንች ኳስ 50.8 ሚሊ ሜትር ነው፣ የሌላው ዓለም 50 ሚሊ ሜትር ነው፣ ሲታይ አንድ ነው ግን ትንሹ ኳስ በትልቁ መያዣ ውስጥ ይንኳኳል፣ ባለ 1 ኢንች ከ7/8 የሚባለውማ ከጉድጓድ ሲዘል ሊወጣ ይችላል። ኳሱንና መያዣውን አንድ ላይ ግዙ፣ የደህንነት ሰንሰለትም ሁለት፣ በመስቀል የሚታሰር።

"ከዚህ ልላከው?" ለምትሉ፣ በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ 1186/2012 አሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፣ በጥር 2016 ደግሞ መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል፣ ስለዚህ ሳትከፍሉ ጉምሩክን በቀጥታ ጠይቁ፣ የደላላ ቃል ይዛችሁ እቃ አትጫኑ። ዋጋ እዚህ አልጽፍም፣ ብሩ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ ስለሆነ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ያሳስታችኋል።

ወረቀቱ ላይ ብዙ ሰው የሚጎዳው "በውክልና" በመግዛት ነው፣ ሻጩ ስም ሳያዛውር ውክልና ብቻ ይሰጣል፣ ቀረጥና ጊዜ ለመቆጠብ ተብሎ። ሻጩ ቢሞት ውክልናው ያልቃል፣ መኪናው ከወራሾቹ ጋር ክርክር ውስጥ ይገባል። ስም ይዛወር፣ ሊብሬው በስማችሁ ወይ በወንድማችሁ ስም ይውጣ። ከመግዛታችሁ በፊት ፋይሉ ካለበት መንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ይውጣ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ወንድማችሁ በአይኑ ከሊብሬው ጋር ያመሳክር፣ ፊደል በፊደል። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ብዙ ንብረት ተዘርፏል፣ ሊብሬው "ጠፍቶ ነው" የሚባል መኪና ላይ በሞቴ አትቸኩሉ።

እናንተ የምትሰጡት ውክልና ደሞ በኤምባሲ ወይ በቆንስላ ተፈርሞ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ተረጋግጦ ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል። ጠቅላላ ውክልና በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2203 መሠረት የአስተዳደር ሥራ ብቻ ስለሆነ የሚፈቅደው፣ "መኪና ለመግዛት፣ ውል ለመፈረም፣ ስም ለማዛወር፣ ኢንሹራንስ ለመግባት" ብሎ በግልጽ ይጻፍ። የተዘጋጀው ፎርም ላይ "ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በዋስትና ለማስያዝ" የሚል አብሮ ይመጣል፣ ካልፈለጋችሁት አስወጡት፣ ወንድም ስለማይታመን አይደለም፣ ወንድም ላይ የሚጫን ሰው ስለማይጠፋ ነው። ገንዘቡ በሲፒኦ (ባንክ በሚያዘጋጀው የክፍያ ማዘዣ) በሻጩ ስም፣ ውሉ በሚፈረምበት ቀን፣ ለደላላ እጅ በእጅ ምንም።

ለኪራይ የሚሠራ ከሆነ የንግድ ታርጋ ኮድ 3 ይሁን፣ የቤት መኪና ብሎ ኢንሹራንስ የገባ ሰው የሰው ጭነት በክፍያ ሲያመላልስ አደጋ ቢደርስ ኩባንያው ላይከፍል ይችላል። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ 799/2005 ግዴታ ነው፣ ለሥራ መኪና ግን ሙሉውን ግቡ፣ ተሳቢው ፖሊሲው ላይ ተጠቅሶ። የሹፌሩ መንጃ ፈቃድም ተሳቢ ለመጎተት የሚፈቅድ መሆኑ ይታይ፣ የአጎት ልጅ መንዳት ስለቻለ አይበቃም።

በመጀመሪያው ቀን ሮቶውን ግማሽ ብቻ ሞልተው ይሞክሩት። ሐረጎን ገና ከላይ በሁለተኛ ማርሽ ይጀምር፣ ፍሬን እየረገጠ ሳይሆን በማርሽ እየያዘ ይውረድ፣ ኮምቦልቻ ሲደርስ አራቱንም ጎማ አጠገብ እጁን ሳይነካ ያስጠጋና የትኛው ከሌላው በበለጠ እንደሚግል በቪዲዮ ይንገራችሁ፣ አንዱ ብቻ ከጋለ ወይ ፍሬኑ ይዟል ወይ ኩሽኔታው አልቋል፣ እዚያው ኮምቦልቻ ጋራዥ ገብቶ ሳይታይ ባዶውንም ቢሆን ወደ ደሴ እንዳይመለስ።