የማይወዱትን ዝነኛ በልኩ ስለ አለመውደድ

አንድን ዝነኛ አለመውደድ ጥፋት አይደለም። ፊቱ በስክሪን ላይ ብቅ ሲል ልብዎን የሚከብደው ተዋናይ፣ ድምፁን እንደሰሙ ጣቢያ የሚቀይሩበት ዘፋኝ፣ ለሚደግፉት ቡድን ጎል ሲያገባ እንኳ ከልብዎ የማያጨበጭቡለት ተጫዋች ሊኖር ይችላል፤ ለዚህም ለማንም ምክንያት የማቅረብ ግዴታ የለብዎትም። ችግሩ የሚጀምረው ስሜቱ ከየት እንደመጣ ሳይጠይቁ ሲቀሩና የጣዕም ጉዳይ የነበረው ነገር ሳይታወቅዎ በሰውየው ማንነት ላይ የተሰጠ ፍርድ ሲሆን ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚቀርበው ምክር ሁሉንም ሰው እንዲወዱ የሚገፋፋ አይደለም፤ አለመውደድዎን መርምረው፣ ለክተው፣ ራስዎንም ሌላውንም ሳይጎዱ እንዴት ሊይዙት እንደሚችሉ የሚያሳይ ነው።

መጀመሪያ በወረቀት ላይ ያስፍሩት

አንድ ወረቀት ይውሰዱና የዝነኛውን ስም ከላይ ጽፈው ለምን እንደማይወዱት በሙሉ ዓረፍተ ነገር ያስፍሩ። «ያናድደኛል» ወይም «አስመሳይ ነው» ብለው አይተዉት፤ መቼ፣ የት፣ ምን ሲል ወይም ምን ሲያደርግ እንዳናደደዎት ይጻፉ። ከእያንዳንዱ መስመር አጠገብ ደግሞ ነገሩን እንዴት እንዳወቁት ያክሉበት፤ በዓይንዎ ያዩት ነው፣ ራሱ ሲናገር የሰሙት ነው፣ ወይስ ሰው ሲያወራ ጆሮዎ ጥልቅ ያለ ነው?

እኔ ይህን ያደረግሁት ለዓመታት ስሙ ሲነሳ ፊቴን በማጠቁርበት አንድ ዘፋኝ ላይ ነበር። ወረቀቱ እንደማይበቃኝ እርግጠኛ ሆኜ ብቀመጥም የወጣኝ ሦስት መስመር ብቻ ነው። አንደኛው በአፍንጫው የሚያወጣው ድምፅ አይጥመኝም የሚል ነበር፤ ሁለተኛው አብረውት በሚሠሩ ሰዎች ላይ ይጮኻል የሚል፤ ሦስተኛው ደግሞ ሳቁ። ሁለተኛውን ከማን እንደሰማሁ ለማስታወስ ብዙ ብሞክርም አልቻልኩም። ሦስተኛው ላይ ግን ቆየሁ። ዘፋኙ ቃለ መጠይቅ ሲደረግለት፣ ጥያቄው ሳያልቅ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጣል አድርጎ፣ ከንፈሩን እንደገጠመ ትከሻውን እያነቃነቀ የሚስቀው ሳቅ አለ። ቪዲዮውን ደጋግሜ ሳየው ያን ሳቅ ከየት እንደማውቀው ድንገት መጣልኝ። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት የጻፍኩትን ሪፖርት በባልደረቦቼ ፊት ጮክ ብሎ እያነበበ፣ ልክ እንደዚያው ትከሻውን እያነቃነቀ የሳቀብኝ አለቃ ነበረኝ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንደሚባለው፣ ያ ዘፋኝ ስንት ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው ዕዳ ሲከፍል ኖሯል።

ከዚያ ሦስተኛ መስመር ሁለተኛው እንዴት እንደተወለደም ተረዳሁ። ሳቁ ስለከበደኝ ብቻ ሰውየው ሠራተኞቹን ይበድላል የሚለውን ወሬ ማስረጃ ሳልጠይቅ ተቀብዬ ነበር። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ እ.ኤ.አ. በ1920 ባወጣው ጥናት የጦር መኮንኖች ለበታቾቻቸው የሰጡትን ነጥብ ሲመረምር፣ አንድ ወታደር በቁመናው ጥሩ ነጥብ ካገኘ በብልህነቱም፣ በመሪነቱም፣ በጠባዩም ጥሩ ነጥብ እንደሚሰጠው፣ በአንዱ ዝቅ ያለው ደግሞ በሌላውም ዝቅ እንደሚል ተመለከተ። መኮንኖቹ እያንዳንዱን ጠባይ ለብቻው የመዘኑ ይምሰላቸው እንጂ አንዱ ስሜት ሁሉንም ቀለም ቀብቶት ነበር። በወረቀትዎ ላይ ያሉትን መስመሮች አንድ በአንድ የሚያዩትም ለዚህ ነው፤ አንዱ መስመር ሌላውን ወልዶት እንደሆነ ይጠይቁ።

የጥላቻውን ዓይነት ይለዩ

መስመሮቹ ከወጡ በኋላ እያንዳንዱ ከየትኛው ወገን እንደሆነ መለየት ይገባል፤ መድኃኒታቸው አንድ አይደለምና።

የጣዕም ጉዳይ ከሆነ ሥራው እዚያው አልቋል። ድምፁ፣ አተዋወኑ፣ አለባበሱ አልጣመዎትም፤ አይስሙት፣ አይመልከቱት። ቋንቋችን ያለ ምክንያት ለሚጠላ ሰው «ደመ መራራ» የሚል ስም አለው፤ እኔ ግን ይህ አባባል የፍርድ ስሕተት ያለበት ይመስለኛል፤ ምሬቱን በተጠላው ሰው ደም ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ የቀመሰውን ምላስ ግን አይጠይቅም። ስለዚህ «ሰውየው ደስ አይልም» ከማለት «እኔን ደስ አይለኝም» ማለትን ይልመዱ። ልዩነቱ አንዲት ቃል ብትሆንም፣ ሁለተኛው አነጋገር ስለራስዎ እውነቱን ከመናገር በቀር በማንም ላይ ክስ አያቀርብም።

አንዳንዱ ጥላቻ ከመሰላቸት የሚመጣ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ዛዮንስ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጥናት ሰዎች የማያውቁትን ቃል ወይም ምልክት ደጋግመው ሲያዩ ወደ መውደድ እንደሚያዘነብሉ አሳይቷል፤ ከእርሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ግን የመጀመሪያው ስሜት መጥፎ ከሆነ ድግግሞሹ ጥላቻውን ሊያባብሰው እንደሚችል ተመልክተዋል። አንድን ፊት በማስታወቂያው፣ በዜናው፣ በስልክዎና በመንገድ ዳር ሰሌዳው ላይ በየቀኑ ሲያዩት ሰውየው ምንም ሳያደርግ ሊሰለችዎት ይችላል። መድኃኒቱም ማየትን መቀነስ ብቻ ነው፤ ለጥቂት ሳምንታት ከዓይንዎ ያርቁትና የቀረውን ስሜት እንደገና ይለኩት።

ለራስ ማመን የሚከብደው ቅናት ነው። ሌላው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሊዮን ፌስቲንገር እ.ኤ.አ. በ1954 እንዳስረዳው ሰው ራሱን የሚያወዳድረው ከእርሱ እጅግ ከራቀው ይልቅ ከሚመስለው ጋር ነው፤ ለዚህም ይመስለኛል በዕድሜ፣ በሙያ ወይም በአስተዳደግ የሚቀርበን ሰው ዝናው የበለጠ የሚቆጠቁጠን። ምልክቱ ቀላል ነው፤ የሚያናድድዎት ጥፋቱ ነው ወይስ ስኬቱ? ሽልማት ሲያገኝ ከምግባሩ መጥፎ ወሬ ይልቅ የበለጠ ከተከፉ መልሱ በእጅዎ ነው። ይህ ሲገኝ ራስዎን አይርገሙ። ቅናት «ያ ለእኔም በሆነልኝ» ይላል፤ ምቀኝነት «ለእርሱ በቀረበት» ይላል። የመጀመሪያው ምን እንደሚፈልጉ ይነግርዎታልና ይስሙት፤ ሙዚቃ ትምህርት ሊመለሱ፣ ያቋረጡትን ጽሑፍ ሊጀምሩ ይችላሉ። ሁለተኛውን ግን ቃል አውጥተው አይመግቡት።

በመጨረሻ እውነተኛ በደል አለ። ሰውየው በፍርድ ቤት ጥፋተኛ የተባለበት፣ ራሱ ያመነው፣ ወይም በራሱ አንደበት ሲናገረው የተቀዳ ክፉ ነገር ካለ አለመውደድዎ ጣዕም ብቻ አይደለምና «እኔ ነኝ የማይጥመኝ» ብለው ሊያለዝቡት አይገባም። ያደረገውን በትክክለኛ ስሙ ይጥሩት፣ ትኬቱን አይግዙ፣ ሥራውን አያሰራጩ፣ ከተጠየቁም ምክንያትዎን ይናገሩ። ክስ ብቻ ከሆነ «ተከሷል» ይበሉ፤ ከተፈረደበት «ተፈርዶበታል» ይበሉ፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት መጠበቅ ለተበዳዩም ክብር ነው፤ ያልተጣራ ወሬ ከእውነተኛው በደል ጋር ሲቀላቀል እውነተኛውም ያልታመነ ይሆናልና። ለማመሳከሪያ የሚሆን አንድ ዘዴ ልጨምር፤ በወረቀቱ ላይ የዝነኛውን ስም ሰርዘው በጣም የሚወዱትን ሰው ስም ይተኩና መስመሩን እንደገና ያንብቡት። ያው ድርጊት በሚወዱት ሰው ላይ ሲሆን «ደክሞት ይሆናል» የሚያሰኝዎት ከሆነ መስመሩን በደል ብለው አይቁጠሩት።

የሚያውቁት ሰው እንዳልሆነ ያስታውሱ

ተመራማሪዎቹ ዶናልድ ሆርተንና ሪቻርድ ዎል እ.ኤ.አ. በ1956 ባወጡት ጽሑፍ፣ የራዲዮና የቴሌቪዥን ተመልካች በስክሪኑ ላይ የሚያየውን ሰው ፊት ለፊት እንደሚያውቀው ወዳጅ እንደሚቆጥረው፣ ግንኙነቱ ግን ከአንድ ወገን ብቻ እንደሆነ ገልጸዋል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ስለ አድናቂዎች ቢሆንም የሚጠላውንም ሰው እኩል ይመለከተዋል። የሚያዩት የተመረጠ፣ የተቆረጠና የተቀጠለ ምስል ነው፤ ከሁለት ሰዓት ቃለ መጠይቅ ሃያ ሴኮንድ ብቻ ተቆርጦ ይደርስዎታል። ስለዚህ በተቆረጠ ቪዲዮ ላይ ተመሥርተው ከመናደድዎ በፊት ከእርሱ በፊትና በኋላ የተባለውን ይፈልጉ፤ ካላገኙት ፍርድዎን ያቆዩ።

ብዙኃን በአንድነት ሲጠሉ ምን ሊሆን እንደሚችል የአየርላንዷ ዘፋኝ የሽኔድ ኦኮነር ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 3 ቀን 1992 በቀጥታ በሚተላለፍ የአሜሪካ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ የቦብ ማርሌይን አንድ ዘፈን ያለ ሙዚቃ መሣሪያ ከዘፈነች በኋላ፣ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በሕፃናት ላይ የሚፈጸመውን በደል ለመቃወም የርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊን ፎቶግራፍ ቀዳደደች። (የዘፈኑ ግጥም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1963 በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ካሰሙት ንግግር የተወሰደ ነው።) ከሁለት ሳምንት ያነሰ ጊዜ ቆይቶ በኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ለዘፋኙ ቦብ ዲላን ክብር በተዘጋጀ ኮንሰርት ላይ መድረክ ስትወጣ፣ ከአዳራሹ የተነሳው የተቃውሞ ጩኸት ከጭብጨባው ጋር ተደባልቆ ልትዘፍን የተዘጋጀችውን እንዳትጀምር አደረጋት። እጆቿን ወደ ታች አድርጋ ዝም ብላ ቆመች፤ ከዚያም ያንኑ የማርሌይን ዘፈን በጩኸቱ ላይ እየጮኸች አሰማች፤ ስትጨርስም ዘፋኙ ክሪስ ክሪስቶፈርሰን አቀፋት። ከዓመታት በኋላ የበደሉ ስፋት በአየርላንድ በይፋ ምርመራዎች ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛ ለአየርላንድ ካቶሊኮች በጻፉት ደብዳቤ ለተበዳዮቹ ሐዘናቸውንና ጸጸታቸውን ገለጹ። በእምነታቸው የተነኩ ሰዎች ፎቶው ሲቀደድ መከፋታቸው የሚገባ ስሜት ነበር። ሆኖም ከተከፉት መካከል ስንቱ ለምን እንደቀደደችው ጠይቆ ነበር? የሚያስከፋ ድርጊት ሲያዩ ይህን ጥያቄ ከጩኸቱ በፊት ያስቀድሙት።

ቁጣዎን ገበያ አያውጡት

የማኅበራዊ ሚዲያ ሥርዓት ፍቅርዎንና ጥላቻዎን አይለይም፤ የሚቆጥረው መንካትዎን ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ ከወጡ የፌስቡክ የውስጥ ሰነዶች እንደታወቀው፣ ኩባንያው ከ2017 ጀምሮ የቁጣውን ምልክት ጨምሮ የስሜት ምልክቶችን ከተራው «ላይክ» አምስት እጥፍ ክብደት ሰጥቷቸው ነበር፤ የቁጣው ክብደት ወደ ዜሮ የወረደው በ2020 ነው። ስለዚህ የማይወዱትን ሰው ለመስደብ ሥሩ በጻፉ ቁጥር ወደ ራስዎም ወደ ወዳጆችዎም ስልክ መልሰው ይጠሩታል። ከዚያ ይልቅ «ፍላጎት የለኝም» የሚለውን ይጫኑ፣ ስሙን ማየት በማይፈልጓቸው ቃላት ዝርዝር ውስጥ ያስገቡ፣ ለማናደድ ሲባል የሚላክልዎትን ቪዲዮም ሳይከፍቱ ይለፉት።

ለራሱ ለዝነኛው ስድብ አይላኩ። መልኩን፣ ሕመሙን፣ ልጆቹን አያንሱ። ሥራው ወይም ምግባሩ እንጂ እነዚህ ለማንም ትችት የቀረቡ አይደሉም፤ በዚህ ጉዳይ የማመቻምችበት ምንም ምክንያት አይታየኝም።

የሚወደው ሰው አጠገብዎ ሲኖር

እህትዎ፣ ልጅዎ ወይም የቅርብ ወዳጅዎ ያንን ሰው ከልቡ ይወደው ይሆናል። በተለይ በጉርምስና ዕድሜ ያለ ልጅ የሚወደውን ዘፋኝ ሲያጣጥሉበት የሚሰማው «የአንተ ልብ የወደደው የማይረባ ነው» የሚል ነው። ስለዚህ አስቀድመው «ምኑን ነው የምትወደው?» ብለው ይጠይቁና መልሱን እስከ መጨረሻው ይስሙ። የእርስዎን ሐሳብ ከጠየቀዎት በአጭሩ ይናገሩ፤ ካልጠየቀዎት ይተዉት። በእርግጥ የተረጋገጠ በደል ካለና ልጁ ሊያውቀው የሚገባ ከሆነ፣ ብቻችሁን ስትሆኑ፣ ሳያላግጡ፣ የተረጋገጠውን ብቻ ይንገሩት።

ሐሳብዎ ሲለወጥ

ከሁሉም የሚከብደው በአደባባይ የተናገሩትን ጥላቻ መመለስ ነው፤ «ካፈርኩ አይመልሰኝ» የሚለው ግትርነት ብዙ ሰው ራሱ በማያምንበት ፍርድ ላይ እንዲቆይ ያደርገዋል። ተዋናይቷ ኢንግሪድ በርግማን እ.ኤ.አ. በ1950 ባለትዳር ሳለች ከሌላ ሰው ልጅ በመውለዷ በአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ውስጥ በአንድ ሴናተር ስትወገዝ፣ በዚያው ምክር ቤት ሌላ ሴናተር ይቅርታ የጠየቃት በ1972 ነበር። እርስዎ ይህን ያህል መጠበቅ አያስፈልግዎትም። ስለ ሰውየው ያልተጣራ ነገር የነገሩት ሰው ካለ እርሱኑ ፈልገው «ያን ጊዜ ያልኩህ ማስረጃ የለውም» ይበሉት።

ወረቀቱንም አይጣሉት፤ በዓመት አንድ ጊዜ አውጥተው ያንብቡት። በእኔ ወረቀት ላይ ሁለተኛው መስመር ተሰርዟል፤ ወሬውን ለነገርኳቸው ሁለት ጓደኞቼም ደውዬላቸዋለሁ። ሦስተኛው ላይ የዘፋኙ ስም ተሰርዞ የአለቃዬ ተጽፏል። የመጀመሪያው መስመር ግን እንዳለ ነው፤ ያ ድምፅ ዛሬም አይጥመኝም፤ ዘፈኑ ሲጀምር አሁንም ጣቢያ እቀይራለሁ።