የትምህርት ቤት ሕንፃ ማጠናቀቂያ፦ ኮሚቴው ቀሪውን ሥራ እንዴት ይለካል፣ በጀቱንስ እንዴት ያወጣል?

«ሕንፃው 90 በመቶ ደርሷል» የሚል ሪፖርት የኮሚቴውን ልብ ያሳርፋል፤ በጀት ለማውጣት ግን አይረዳም። ግድግዳው ቆሞ ጣሪያው ከተመታ በኋላ ሕንፃ ከሩቅ ሲያዩት ያለቀ ይመስላል። ልስኑ፣ ወለሉ፣ በርና መስኮቱ፣ ኮርኒሱ፣ ኤሌክትሪኩ፣ ውሃና ፍሳሹ፣ ቀለሙ ገና ነው። እነዚህ ተደምረው ብዙ ጊዜ የጠቅላላውን ወጪ ሲሶ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳሉ። በርና መስኮት የሌላቸው ክፍሎች ለዓመታት ቆመው የሚቀሩት በአብዛኛው ኮሚቴው ያወጣውን ገንዘብ እየቆጠረ የቀረውን ሥራ ሳይለካ ስለሚጓዝ ነው።

ቀሪውን በየክፍሉ መለካት

ሁለት ወይም ሦስት አባላት ከተቆጣጣሪው መሐንዲስ ጋር ግማሽ ቀን ይመድቡ። ሜትር፣ ውሃ ልክ፣ ፕላኑና የውሉ የሥራ ዝርዝር በእጃቸው ይኑር። እያንዳንዱ ክፍል በጠመኔ ቁጥር ይጻፍበት፤ በመዝገብም አንድ ገጽ ይሰጠው። በገጹ ላይ ወለል፣ ግድግዳ፣ ኮርኒስ፣ በር፣ መስኮት፣ መብራትና ሶኬት፣ ቧንቧ ይሰፍራሉ። በእያንዳንዱ አንጻር «አልተጀመረም»፣ «ተጀምሯል» ወይም «አልቋል» ተብሎ ይጻፋል። «አልቋል» የሚባለው ማንም ባለሙያ ወደዚያ ሥራ የማይመለስ ከሆነ ብቻ ነው። በሩ ተገጥሞ ቁልፉ ካልገባ አላለቀም።

«ተጀምሯል» የተባለው ሁሉ በካሬ፣ በሜትር ወይም በፍሬ ይለካ። ስሌቱ ከባድ አይደለም። 8 ሜትር በ7 ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ክፍል ዙሪያው 30 ሜትር ስለሆነ የውስጥ ግድግዳው 90 ካሬ ሜትር ነው። 1 ሜትር በ2.10 የሆኑ ሁለት በሮችና 1.50 በ1.20 የሆኑ አራት መስኮቶች ሲቀነሱ 78.6 ካሬ ሜትር ይቀራል። እንዲህ ያሉ ስድስት ክፍሎች 471.6 ካሬ ሜትር ልስን ይፈልጋሉ ማለት ነው። ልስኑ 15 ሚሊ ሜትር ውፍረት ቢኖረውና ቅልቅሉ አንድ እጅ ሲሚንቶ ለአራት እጅ አሸዋ ቢሆን፣ ብክነትና የግድግዳው አለመስተካከል ሲታሰብ 20 በመቶ ተጨምሮበት ወደ 65 ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶና 9 ሜትር ኩብ አሸዋ ያስፈልጋል። ግንበኛው 120 ከረጢት ከጠየቀ ልዩነቱን ያስረዳ። ግድግዳው ተጣሞ ልስኑ 3 ሴንቲ ሜትር እየደረሰ ይሆናል፤ ወይም ሲሚንቶው ሌላ ቦታ እየሄደ ነው። ሁለቱም ኮሚቴው ማወቅ ያለበት ነገር ነው።

ሥራው ለወራት ቆሞ ከነበረ የቆመውም አካል ይመርመር። የተጋለጠ ፌሮ ዝገቱ እየተላጠ ከሆነ፣ የጣሪያው እንጨት ምስጥ ከገባው ወይም ከበሰበሰ፣ እነዚህ በቀሪ ሥራ ውስጥ ይመዝገቡ። መጋዘን ውስጥ ከሦስት ወር በላይ የተቀመጠ ሲሚንቶ ጥንካሬው ይቀንሳል። በጣት ተጨፍልቆ የማይፈርስ ጓል ካለው ለልስንም ለአርማታም አይሁን። አዲስ የሚገባው ሲሚንቶ ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከ10 ከረጢት በላይ ሳይደረደር ይቀመጥ።

ልኬቱን ወደ በጀት መለወጥ

የተለካውን ሥራ በሦስት ክፈሉት። አንደኛው በውሉ ውስጥ ያለና ያልተከፈለበት ነው፤ ይህ በውሉ ነጠላ ዋጋ ይሰላል። ሁለተኛው በውሉ ውስጥ ያለ፣ ክፍያው የተወሰደ፣ ሥራው ግን ያልተሠራ ነው። ይህ ከተገኘ ቀጣዩ ክፍያ ከመፈረሙ በፊት ይቀነስ፤ ተቋራጩ ሳይቱን ጥሎ ከሄደ በኋላ ማስመለስ እጅግ ይከብዳል። ሦስተኛው በውሉ ውስጥ ጨርሶ የሌለ ነው።

ኮሚቴዎችን ለዕዳ የሚዳርገው ይህ ሦስተኛው ነው። የሕንፃ ውል ብዙ ጊዜ በሕንፃው ግድግዳ ላይ ያበቃል። ከዚያ ውጭ ያለው የጎርፍ መውረጃ፣ የእግር መንገድ፣ አጥር፣ የውሃ ታንከርና ማቆሚያው፣ የኤሌክትሪክና የውሃ መስመር ማስገቢያ ክፍያ፣ ሴፕቲክ ታንክ፣ ጥቁር ሰሌዳ፣ ዴስክና ወንበር የማን እንደሆነ በጽሑፍ ካልተለየ፣ ሁሉም በሌላው በጀት ውስጥ ያለ እየመሰለው ይቀራል። ፕላኑን ዘርግታችሁ አንድ ተማሪ ከግቢው በር እስከ መቀመጫው፣ ከዚያም እስከ ሽንት ቤትና ቧንቧ የሚሄድበትን መንገድ በጣት ተከተሉ። በመንገዱ ላይ የጎደለው ሁሉ ዝርዝር ውስጥ ይግባ። ለእነዚህ የሚያዘው ዋጋ ከሦስት ሻጮች የተሰበሰበ የወቅቱ ፕሮፎርማ ይሁን፤ መጓጓዣና ግብርም ይካተትበት።

በጀቱ ከአራት ድምር ይሠራል፦ የቀሪው ሥራ ዋጋ፣ ተሠርቶ ያልተከፈለ ሒሳብ፣ የመያዣ ገንዘብ እና መጠባበቂያ። የመያዣ ገንዘብ ከእያንዳንዱ ክፍያ ላይ በአብዛኛው ከ5 እስከ 10 በመቶ እየተቀነሰ ተቋራጩ ጉድለቱን እስኪያርም የሚቀመጥ ነው። ባንክ ውስጥ ስለሚታይ የትምህርት ቤቱ ትርፍ ገንዘብ ይመስላል፤ የተቋራጩ ነው። በዚህ ገንዘብ ዴስክ የገዛ ኮሚቴ ጉድለቱ ሲታረም የሚከፍለው አያገኝም፤ ተቋራጩም ይህን ካወቀ ለማረም አይመለስም። ቢቻል በሌላ ሒሳብ ቁጥር ይቀመጥ። መጠባበቂያው ሥራው በተከታታይ እየሄደ ከሆነ ከ5 እስከ 10 በመቶ፣ ለረጅም ጊዜ ቆሞ የነበረ ሕንፃ ከሆነ እስከ 15 በመቶ ቢያዝ አይበዛም። ያለ ቃለ ጉባኤ ግን አይነካ።

በገቢው በኩል በእጅ ያለውን፣ መጠኑና ቀኑ በጽሑፍ የተረጋገጠውን፣ በስብሰባ ላይ ቃል የተገባውን ለየብቻ ጻፉ። ውል የሚፈረመው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ልክ ነው። በቃል ላይ ያለው ገንዘብ ቢዘገይ ትምህርት በማያስቆም ሥራ ላይ ይመደብ፤ ለምሳሌ በአጥሩ ቀለም ላይ።

ገንዘቡ ካልበቃ

ስድስቱንም ክፍል በግማሽ ከመተው አራቱን ጨርሶ መክፈት ይሻላል። በግማሽ የቀረ ክፍል ዝናብ ይገባበታል፣ ዕቃው ይነቀላል፤ ሠራተኛና መሣሪያ እንደገና ለማምጣትም ሌላ ወጪ አለ። የጣሪያው ሥራ ግን ለስድስቱም ይጠናቀቅ።

ሽንት ቤት ከመጀመሪያው ምዕራፍ አይውጣ። የዓለም ጤና ድርጅት ለትምህርት ቤት ያስቀመጠው መመሪያ ለ25 ሴት ተማሪዎች አንድ መቀመጫ፣ ለ50 ወንድ ተማሪዎች አንድ መቀመጫና አንድ መሽኛ፣ ለሴትና ለወንድ ሠራተኞች ደግሞ ለየብቻ አንድ አንድ ይላል። አራቱ ክፍሎች 160 ተማሪ ቢይዙና ግማሾቹ ሴቶች ቢሆኑ ለሴቶቹ 4፣ ለወንዶቹ 2 መቀመጫና 2 መሽኛ ማለት ነው። የሴቶቹ ከውስጥ የሚቆለፍ በር፣ ውሃና የንጽህና መጠበቂያ መጣያ ካልኖረው ልጃገረዶች በወር አበባ ጊዜ ከትምህርት ይቀራሉ። ስለዚህ ይህ ወጪ ከመማሪያ ክፍሉ ወጪ ተለይቶ አይታይ።

ቅደም ተከተልና ጊዜ

መጀመሪያ ጣሪያና አሸንዳ፣ ቀጥሎ በግድግዳ ውስጥ የሚያልፉ የኤሌክትሪክና የውሃ ቱቦዎች፣ ከዚያ ልስን፣ ወለል፣ ኮርኒስ፣ በርና መስኮት፣ ቀለም፤ መጨረሻ ላይ መብራት፣ ሶኬትና የቧንቧ ዕቃ። ይህ ቅደም ተከተል ሲዛባ አንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ይከፈልበታል። የተለሰነ ግድግዳ ለሽቦ ሲፈለፈል ጥገናው ከቀለም በኋላም ይታያል።

ከመሸፈኑ በፊት መታየት ያለበትን ኮሚቴው በቀን መቁጠሪያው ላይ ያስፍር። የውሃ መስመር በሥራ ላይ ከሚኖረው ግፊት 1.5 እጥፍ ተሞልቶ ግፊቱ ሳይወርድ መቆየቱ ከልስን በፊት ይረጋገጥ። የሽንት ቤት ወለል ሴራሚክ ከመነጠፉ በፊት ውሃ አቁሮ 24 ሰዓት ይቆይና ከሥሩ እርጥበት ይታይ እንደሆነ ይፈተሽ። የተሸፈነው ሁሉ አስቀድሞ ፎቶ ይነሣ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ቧንቧ የሚፈልግ ሰው ግድግዳ ሙሉ አያፈርስም።

ልስን ቢያንስ ለሦስት ቀን፣ ቢቻል ለሳምንት ውሃ ይጠጣ። ያለዚያ ይሰነጠቃል፤ ሲነኩትም አሸዋው ይረግፋል። ከዚያ ወደ አራት ሳምንት ይድረቅ። እርጥብ ልስን ላይ የተቀባ ቀለም ያብጥና ይላጣል፤ ሁሌም የሚወቀሰው ቀለም ቀቢው ነው፣ ጥፋቱ ግን የቀኑ መጣበብ ነው። ለመድረቂያ አራት ሳምንት (ኮርኒሱና ወለሉ በዚህ መሐል ይሠራሉ)፣ ለስቱኮና ለቀለም አንድ፣ ለገጠማና ለፍተሻ አንድ፣ ጉድለት ለማረም ሁለት ሲደመሩ፣ የመጨረሻው ልስን ውሃ ጠጥቶ ካበቃበት ቀን እስከ ትምህርት መክፈቻ ቢያንስ 8 ሳምንት ያስፈልጋል። ከመክፈቻው ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ። ቀኑ ካልበቃ መጀመሪያ የምትከፍቷቸውን ክፍሎች ቁጥር ቀንሱ፤ መድረቂያውን ግን አትንኩ።

ክፍያ፣ ለውጥና ፊርማ

የክፍያ ጥያቄ ሲመጣ መሐንዲሱ የለካው መጠን በውሉ ነጠላ ዋጋ ተባዝቶ፣ ቀድሞ የተከፈለው፣ ሥራ ሲጀመር የተሰጠው የቅድሚያ ክፍያ ተመላሹና የመያዣው ገንዘብ ተቀንሰው የሚቀረው ይከፈላል። ቼኩ በሁለት ሰው ፊርማ ይውጣ። ዕቃ የሚሸጥ ወይም ዘመዱ የሚሸጥ አባል ይህን አስቀድሞ ያሳውቅ፤ ውሳኔው ሲሰጥም ከስብሰባው ይውጣ። ተቋራጩ ያስያዛቸው የዋስትና ወረቀቶች የሚያበቁበት ቀን በጸሐፊው መዝገብ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፍ፤ ጊዜው ያለፈ የቅድሚያ ክፍያ ዋስትና ተራ ወረቀት ነው።

በሳይቱ ላይ የቃል ትዕዛዝ ከልክሉ። ርዕሰ መምህሩ «እዚህ ጋ አንድ መስኮት ጨምሩ» ካለ፣ ሰብሳቢው «ሊሾው ይቅርና ሴራሚክ ይሁን» ካለ፣ ሒሳቡ መጨረሻ ላይ በአንድነት ይመጣል፤ ማን እንዳዘዘም አይታወቅም። ለውጥ ሁሉ ምክንያቱ፣ ዋጋውና የሚጨምረው ቀን ተጽፎ፣ ኮሚቴው አጽድቆት፣ በተቆጣጣሪው በኩል ብቻ ይተላለፍ።

ርክክብ

ለጊዜያዊ ርክክብ የሚመጣው ቡድን እየዞረ ከማየት ይልቅ እየሞከረ ይለፍ። ቧንቧዎች ሁሉ አንድ ላይ ይከፈቱ፤ ውሃው የሚዳከምበት ቦታ ያኔ ይታወቃል። እያንዳንዱ ቁልፍ ይዙር። መብራት ሁሉ ይብራ፤ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ወይም ወደ ሰው ሲያፈስ የሚቆርጠው የ30 ሚሊ አምፔር ብሬከር የመሞከሪያ ቁልፉ ሲጫን ወዲያው ይቁረጥ፤ የመሬት ሽቦው በመሣሪያ ተለክቶ ውጤቱ በወረቀት ይሰጥ። ጣሪያው ግን ርክክቡ ሳይደርስ፣ ኮርኒስ ከመገጠሙ በፊት ይታይ፤ በቀን ብርሃን የበርና የመስኮቱን ቦታ ሸፍኖ ወደ ቆርቆሮው ቀና ማለት የምስማር ቀዳዳዎችን ያሳያል። ምስማሩ የተመታው በቆርቆሮው ሞገድ ጀርባ ላይ ይሁን፤ ውሃ በሚወርድበት ጎድጓዳ የተመታ ውሎ አድሮ ያፈሳል። የመማሪያ ክፍል በር ወደ ውጭ ይከፈት፣ የሚያልፉበት ስፋቱም ከ90 ሴንቲ ሜትር አይነስ። የተሽከርካሪ ወንበር መውጫው ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ይኑረው። ከዚህ የበለጠ ቀጥ ካለ ያለ እርዳታ መውጣት ያዳግታል።

የጉድለቱ ዝርዝር የክፍል ቁጥር፣ ጉድለቱን፣ የሚያርመውንና የሚታረምበትን ቀን ይያዝ፤ ሁለቱም ወገን ይፈርሙበት። ከዚህ በፊት ተማሪ አታስገቡ። ገብተው ከዋሉ በኋላ የተሰበረውን መስታወት ማን ሰበረው የሚለው ክርክር አያልቅም። ከቁልፎቹ ጋር በተሠራው ልክ የታረመው ፕላን፣ የፍተሻ ውጤቶችና የዕቃ ዋስትናዎች ይረከቡ። በብዙ ውሎች ከመያዣው ገንዘብ ግማሹ የሚለቀቀው በዚህ ጊዜ ነው፤ ቀሪው የጉድለት ማረሚያው ጊዜ አብቅቶ እስከሚደረገው የመጨረሻ ርክክብ ይቆያል።

የቀጣዩ ዓመት በጀት ያለ ጥገና መስመር አይጽደቅ። ለጥገና በዓመት የሚመከረው ሕንፃውን እንደ አዲስ ለመሥራት ከሚወጣው ዋጋ ከ2 እስከ 4 በመቶ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ይህ ሁሉ ላይወጣ ይችላል፤ አሸንዳ መጥረጊያው፣ የቧንቧ ጎሚኒውና የበር ማጠፊያው ግን ከዚያው ዓመት ይጀምራሉ። የተረፈው ለሚቀጥለው የቀለም ዙር ይቀመጥ።

የጉድለት ማረሚያው ጊዜ ብዙውን ጊዜ 12 ወር ነው። ሊያበቃ 30 ቀን ሲቀረው፣ ቢቻል ከባድ ዝናብ በዘነበ ማግሥት፣ ያንኑ የክፍል መዝገብ ይዛችሁ ሁሉንም ክፍሎች ዙሩ። አዲስ የተገኘው ጉድለት ጊዜው ሳያልፍ በደብዳቤ ለተቋራጩ ይድረስ፤ የደብዳቤው ቅጂም የተረከበው ሰው ፈርሞበት ፋይል ውስጥ ይግባ።